‹‹ሩት አድርጎ መገላገል›› የሚሉት መፍትሔ

ስልኩ ስታክ እያደረገ፣ ‹‹ስቶሬጅ ሞልቷል›› የሚል ማሳሰቢያ እየመጣበት የተቸገረ ሰው ጥገና ቤት ሲሄድ የሚሰማው መልስ ብዙ ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ‹‹የሚያስቸግሩህ ከስልኩ ጋር የመጡት አፖች ናቸው። እነሱ ደግሞ ዝም ብለው አይጠፉም። ሩት እናድርገውና እናጽዳው፤ በዚያውም ዳታህን ባክአፕ እናደርግልሃለን።›› ሩት ማድረግ አምራቹ የቆለፈውን የስልኩን ሲስተም ከፍቶ በላዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን መውሰድ ነው። ምክሩ በቴሌግራም ቻናልም በዩቲዩብ ቪዲዮም ሲዞር ይውላል። ከመደጋገሙ የተነሳ ማንም የማይጠይቀው ሐቅ መስሏል።

ይህ ምክር ጎጂ ነው። ቃል የገባውን ቦታ አያስገኝም፤ አድነዋለሁ ያለውን ዳታ ያጠፋል፤ ስልኩን በማይፈለግ ነገር ሞልቶ የሸጠውን ኩባንያ ደግሞ ማንም እንዳይጠይቀው አድርጎ ያስቀምጠዋል። እኔን ከሁሉም የሚያንገበግበኝ ይህ የመጨረሻው ነው።

ቅሬታው ራሱ ትክክለኛ ነው። ርካሽ ስልክ የገዛ ሰው ካርቶኑን ከፍቶ ሲያበራው ያላዘዘው ነገር ይጠብቀዋል፦ ሁለተኛ ብሮውዘር፣ የጨዋታ መደብር፣ ‹‹ስልክዎን ያጽዱ›› እያለ ማስታወቂያ የሚያሳይ አፕ፣ ስክሪኑ ሲከፈት ዜና የሚደረድር አፕ። እነዚህ ከበስተጀርባ እየሠሩ ባትሪ ይጨርሳሉ፤ በብር የተገዛውን የዳታ ጥቅልም ይበላሉ። ማድሪድ የሚገኘው የኢምዴያ ኔትወርክስ ተቋም ተመራማሪዎች ከአጋሮቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጡት ጥናት ከ200 በላይ አምራቾች የሠሯቸውን ከ1,700 በላይ የአንድሮይድ ስልኮች መርምረው፣ ቀድመው የተጫኑ ከ82,000 በላይ አፖችን አይተዋል። ካገኙት ውስጥ የተጠቃሚውን መረጃ ሳያሳውቁ የሚሰበስቡ፣ ባለቤታቸው በግልጽ የማይታወቅ፣ አንዳንዶቹም ቫይረስ የሆኑ ነበሩ። ስለዚህ ስልኩ ላይ የማያስፈልግ ነገር ተጭኖብኛል የሚል ሰው አልተሳሳተም። የተሳሳተው የሚታዘዝለት መድኃኒት ነው።

ባክአፕ ከሚለው ተስፋ እንጀምር፤ ትልቁ ጉዳት የሚደርሰው እዚህ ላይ ነውና። ዛሬ ገበያ ላይ ያለን የአንድሮይድ ስልክ ሩት ለማድረግ አብዛኛውን ጊዜ መጀመሪያ ቡትሎደሩ መከፈት አለበት። ቡትሎደር ስልኩ ሲበራ የትኛው ሲስተም እንደሚነሳ የሚወስነው ፕሮግራም ነው። እሱ ሲከፈት ስልኩ በውስጡ ያለውን የተጠቃሚ ዳታ በሙሉ ያጠፋል። ፎቶው፣ ኮንታክቱ፣ ቻቱ፣ ድምፁ ይሄዳል። ይህ ሆን ተብሎ የተሠራ ጥበቃ ነው፤ ስልክ የሰረቀ ሰው ቡትሎደሩን ከፍቶ የባለቤቱን ምስጢር እንዳያነብ የታሰበ ነው። እንግዲህ ‹‹ሩት አድርገን ባክአፕ እናደርጋለን›› ማለት መጀመሪያ አጥፍተን ቀጥሎ እንገለብጣለን ማለት ይሆናል። ከሩት በፊት ባክአፕ ማድረግ የግድ ከሆነ ደግሞ ባክአፑ ሩት አላስፈለገውም ማለት ነው።

ምክሩ ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። ድሮ እውነት ነበር። ጆርጅ ሆትዝ እ.ኤ.አ. በ2014 ያወጣው ታወልሩት የተባለ አፕ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ በተገኘ ቀዳዳ ተጠቅሞ፣ ዳታ ሳያጠፋ በአንድ ጠቅታ ብዙ ስልኮችን ሩት ያደርግ ነበር። ከዚያ በኋላ ታይታኒየም ባክአፕ የተባለውን አፕ ጭኖ እያንዳንዱን አፕ ከነዳታው መገልበጥ ይቻል ነበር። ያ ቀዳዳ ከተደፈነ ቆይቷል። ስልኮች ዳታን ኢንክሪፕት ያደርጋሉ፤ ብዙ አፖችም ቁልፋቸውን ስልኩ ውስጥ በተለየ ቦታ ስለሚያስቀምጡ ተገልብጠው ቢመለሱ እንኳን እንደገና ግባ ይላሉ። የአሥር ዓመት ዕድሜ ያለው ዕውቀት ዛሬም ሳይመረመር ለደንበኛ ይሸጣል።

የባክአፕ ችግራችን ሌላ ቦታ ነው ያለው፤ እሱን የሚያነሳ ግን አላየሁም። አንድ ቀን ጥገና ቤት ተራ ስጠብቅ ያየሁትን ልንገራችሁ። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት የልጃቸው ቁጥር ስልካቸው ላይ እንደጠፋባቸው ተናገሩ። ልጅቱ ያለችው ቤይሩት ነው፤ የሚገናኙት በኢሞ ነው። ስልካቸው ከቀናት በፊት ሌላ ቦታ ሩት ተደርጎ ‹‹ጸድቷል››።

‹‹ማዘር፣ ጂሜይል አለዎት?›› አላቸው ጠጋኙ ልጅ።

‹‹ስልኩን ስገዛ የሸጠልኝ ልጅ ነው የከፈተልኝ።››

‹‹ፓስወርዱስ?››

‹‹እሱ ነዋ የሚያውቀው፣ ልጄ።››

ልጁ ስልኩን መለሰላቸው። ኮንታክቶቻቸው ምናልባት ዛሬም ጉግል ሰርቨር ላይ ተቀምጠው ይሆናል፤ የሚከፍታቸው ቃል ግን ከአንድ የማይታወቅ ሻጭ ጋር ሄዷል። በየሱቁ ስልክ ሲሸጥ ሻጩ በራሱ አሳብ የሚከፍተው፣ ገዢው የማያውቀው፣ ወረቀት ላይ ያልተጻፈ ጂሜይል ስንት ሰው ኪስ ውስጥ እንዳለ ማሰብ ያስፈራል። ‹‹ባክአፕ እናድርግልዎ›› የሚል ባለሙያ ከልቡ ከሆነ፣ አምስት ደቂቃ ወስዶ የደንበኛውን አካውንት በደንበኛው ስም ይክፈት፤ ፓስወርዱን ራሱ ደንበኛው እንዲመርጥና እንዲጽፈው ያድርግ፤ ኮንታክቱ ሲምና ስልኩ ላይ ብቻ ሳይሆን አካውንቱ ላይ መቀመጡን ያሳየው። ፎቶዎቹን በኬብል ወደ ኮምፒውተር ወይም ወደ ሚሞሪ ካርድ ይገልብጥለት። ይህ ሁሉ ሩት አይጠይቅም። ያን ቀን እኚያ እናት የሚያስፈልጋቸው ይህ ብቻ ነበር።

ቦታ ያስለቅቃል የሚለውስ? ከፋብሪካ የመጡት አፖች የሚቀመጡት በሲስተሙ ክፍል ውስጥ ነው። ይህ ክፍል ፎቶና ቪዲዮ ከሚቀመጥበት ክፍል የተለየ ነው። ከሲስተሙ ክፍል አንድ አፕ ቢጠፋ፣ የተለቀቀው ቦታ እዚያው ሲስተሙ ክፍል ውስጥ ይቀራል እንጂ ለፎቶህ አይደርስህም። በዚያ ላይ በቅርብ ዓመታት የወጡ ስልኮች የሲስተም ክፍላቸው ሊጻፍበት በማይችል መልኩ ስለሚሠራ፣ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ማጂስክ የሚባለው የሩት መሣሪያ አፑን ከዓይን ይሸፍነዋል እንጂ ከቦታው አያነሳውም። ደንበኛው አፑ ሲጠፋ ያያል፤ ገንዘቡን ከፍሎ ይሄዳል፤ ስቶሬጁ ግን እዚያው ነው።

የእኛን አገር ስልኮች ቦታ የሚያስጨርሰው፣ በሐቅ ከተነጋገርን፣ በአብዛኛው ቴሌግራም ነው። ሰው በሃያና በሠላሳ ቻናል ተመዝግቦ፣ ቪዲዮውና ፎቶው በራሱ እየወረደ ወራት ይከማቻል። ከቴሌግራም ሴቲንግ ገብቶ ካሹን ማጽዳትና በራሱ ማውረዱን መዝጋት ብዙ ጊጋባይት ያስለቅቃል። ከፋብሪካ የመጣውን አፕ ደግሞ ሴቲንግ ውስጥ ገብቶ ‹‹አሰናክል›› ማለት ይቻላል፤ ከዚያ በፊት የአፑን አፕዴት ቢያራግፉለት፣ አፑ በተጠቃሚው ክፍል ውስጥ የያዘው ቦታ ይመለሳል። ‹‹አሰናክል›› የሚለው ካልታየ፣ ኮምፒውተር ያለው ባለሙያ ኤዲቢ በሚባለው የጉግል የራሱ መሣሪያ፣ በዩኤስቢ ኬብል፣ አፑን ለዚያ ተጠቃሚ ማራገፍ ይችላል። ሩት የለም፤ ቡትሎደር አይከፈትም፤ ዳታ አይጠፋም፤ ከተፈለገም ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ጠጋኝ የሰው ስልክ ሩት ማድረግ የለበትም። የሚያውቅ ከሆነ ደግሞ ለምን ሩት ያደርጋል?

ከሩት በኋላ የሚከተለውን ዋጋ ማንም በደረሰኝ ላይ አይጽፈውም። ብዙ የባንክ አፖች ሩት የተደረገ ስልክ ላይ ለመሥራት እንቢ ይላሉ፤ ገንዘቡን በሞባይል የሚያንቀሳቅስ ሰው ይህን የሚያውቀው ገንዘብ ሊልክ ሲቸኩል ነው። ሳምሰንግ ስልክ ላይ ቡትሎደሩ ተከፍቶ ኦፊሴላዊ ያልሆነ ሶፍትዌር ሲጫን ኖክስ የተባለው ጥበቃ ለዘለዓለም ይሰበራል፤ ስልኩ ወደ ነበረበት ሶፍትዌር ቢመለስ እንኳን እንደ ሴኪዩር ፎልደር ያሉ አገልግሎቶች አይመለሱም። ሲስተሙ የተነካካ ስልክ የደኅንነት አፕዴት መቀበል ይቸግረዋል። ቡትሎደሩ እንደተከፈተ የቀረ ስልክ ደግሞ ቢሰረቅ ሌባው ያለ ትግል ሌላ ሲስተም ይጭንበታል።

እዚህ ላይ የሚነሳው ክርክር ክብደት ስላለው መልስ ይገባዋል። ‹‹ስልኩ የእኔ ነው፤ በገንዘቤ ገዝቼዋለሁ፤ በላዩ ላይ ሙሉ ሥልጣን ሊኖረኝ ይገባል›› ይላሉ። ልክ ናቸው። የግዕዝ ፊደል ስልክ ላይ ሳጥን ሳጥን ሆኖ ይታይ በነበረበት ዘመን ሩት አድርገው ፎንት የጫኑ ወጣቶች በአማርኛ መጻፍና ማንበብ እንድንችል መንገድ የጠረጉ ናቸው። አምራቹ በተወው አሮጌ ስልክ ላይ ሊኒየጅ ኦኤስ የተባለውን ሲስተም ጭኖ ዕድሜውን የሚያረዝም ሰውም የሚያደርገውን ያውቃል። ለእነዚህ ሰዎች ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው። ነገር ግን የሚያውቅ ሰው አውቆ የሚወስደውን እርምጃ፣ ምን እንደሚሆን ላልተነገረው ሰው በሁለት መቶና በሦስት መቶ ብር መሸጥ ነፃነት አይባልም። ያ ደንበኛ በስልኩ ላይ ሥልጣን አላገኘም፤ ሥልጣኑ ከአምራቹ ወደ ጠጋኙ ተላለፈ እንጂ።

መጠየቅ ያለበት አምራቹ መሆኑን ይበልጥ ግልጽ የሚያደርገው ቴክኖ ደብልዩ 2 የተባለው ስልክ ጉዳይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2020 አፕስትሪም የተባለው ኩባንያ ሴኪዩር-ዲ በተሰኘው አገልግሎቱ ይፋ እንዳደረገው፣ በአፍሪካ በተሸጡ በእነዚህ ርካሽ ስልኮች ላይ ትሪያዳና ኤክስሄልፐር የሚባሉ ቫይረሶች ገና ከመሸጣቸው በፊት ተጭነው ነበር። ባለቤቱ ሳያውቅ ለተለያዩ አገልግሎቶች እያስመዘገቡ ሒሳቡን የሚጨርሱ ነበሩ። ኩባንያው ከ200,000 በላይ ስልኮች የተነሱ 19.2 ሚሊዮን አጠራጣሪ ግብይቶችን ማገዱን ገልጿል። ከተጠቁት አገሮች ኢትዮጵያ አንዷ ናት፤ ከካሜሩን፣ ከግብፅ፣ ከጋናና ከደቡብ አፍሪካ ጋር። አምራቹ ትራንሽን ማስተካከያ ማውጣቱን ተናግሮ፣ ጥፋቱን ስሙን ባልጠቀሰው የአቅርቦት ሰንሰለቱ አካል ላይ አድርጓል።

‹‹እንግዲህ ሩት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው›› የሚል ይኖራል። ኤክስሄልፐር ፋብሪካ ሪሴት ተደርጎም ተመልሶ የሚመጣ መሆኑ እውነት ነው። ግን አስቡት፤ በሁለት ወር ደመወዙ ስልክ የገዛ፣ ካርዱ ለምን ቶሎ እንደሚያልቅ ግራ የገባው ሰው፣ አምራቹ አስገብቶ የሸጠለትን ሌባ የማስወጣት ወጪና አደጋ ለምን እሱ ይሸከማል? ደግሞም ትሪያዳ ራሱ መጀመሪያ ሲታወቅ ሲስተሙ ውስጥ ይሰርግ የነበረው የሩት ሥልጣን በመንጠቅ ነበር። ደንበኛውን ለማዳን የሚከፈተው በር ቫይረሱ የሚፈልገው ያው በር ነው። ‹‹በአንድ ጠቅታ ሩት›› የሚሉት አፖችም የሚሠሩት ባልተደፈነ ቀዳዳ ገብተው ነው፤ ምንጩ ከማይታወቅ ቦታ የወረደ አፕ ሙሉ ሥልጣን ሲሰጠው ምን እንደሚያደርግ ጠጋኙም አያውቅም።

ቤት ሸጦ አንዱን ክፍል በራሱ ዕቃ ሞልቶ ቁልፉን ይዞ የሄደ ሰው ቢኖር፣ ጎረቤት ሁሉ በሩን ስበር ብሎ ገዢውን አይመክርም፤ ሻጩን ጥራ ይላል። በስልክ ጉዳይ ግን ሻጩን የጠራ የለም። ሌሎች አገሮች ጠርተውታል። ደቡብ ኮሪያ እ.ኤ.አ. በ2014 አስፈላጊ ያልሆኑ ቀድመው የተጫኑ አፖች መጥፋት እንዲችሉ መመሪያ አወጣች። የአውሮፓ ኮሚሽን እ.ኤ.አ. በ2018 ጉግልን 4.34 ቢሊዮን ዩሮ ሲቀጣው ከጥፋቶቹ አንዱ አምራቾች የፍለጋ አፑንና ክሮምን ቀድመው እንዲጭኑ ማስገደዱ ነበር፤ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2022 ቅጣቱን ወደ 4.125 ቢሊዮን ዝቅ አደረገው እንጂ አላነሳውም። እ.ኤ.አ. ከመጋቢት 2024 ጀምሮ ደግሞ በአውሮፓ ኅብረት እንደ ጉግልና አፕል ያሉ ኩባንያዎች ለሲስተሙ የግድ ካልሆነ በቀር አፖችን ተጠቃሚው በቀላሉ እንዲያራግፍ የመፍቀድ ግዴታ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በጥር 2020 ፕራይቬሲ ኢንተርናሽናልና ከ50 በላይ ድርጅቶች ለጉግል ዋና ሥራ አስፈጻሚ በጻፉት ደብዳቤ የጠየቁትም ይህንኑ ነው፤ ቀድመው የተጫኑ አፖች ከነበስተጀርባ ሥራቸው ለዘለቄታው መጥፋት ይቻል፣ እንደ ማንኛውም ፕሌይ ስቶር ላይ እንዳለ አፕም ይመርመሩ።

የእኛም አገር መነሻ የለውም አይባልም። የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን በአዋጅ ቁጥር 1148/2011 ተቋቁሟል፤ የመገናኛ መሣሪያዎች ዓይነት ማረጋገጫም ከሥራዎቹ አንዱ ነው። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲወጣም ተቆጣጣሪው እሱ ሆኗል። ስለዚህ አንድ የስልክ ሞዴል ወደ አገር ከመግባቱ ወይም እዚሁ ተገጣጥሞ ከመሸጡ በፊት፣ አምራቹ በላዩ ላይ የጫናቸውን አፖች ዝርዝር፣ እያንዳንዱ የሚሰበስበውን መረጃ፣ ተጠቃሚው ሊያራግፈው የማይችለው የትኛው እንደሆነና ምክንያቱን በጽሑፍ እንዲያስገባ መጠየቅ ይቻላል። ‹‹ሩት አድርጎ መገላገል›› ባህል እስከሆነ ድረስ ግን ይህን የሚጠይቅ ሕዝብ አይኖርም፤ እያንዳንዱ ሰው ስልኩን ይዞ ወደየጥገና ቤቱ ይበተናል፤ አስመጪውም በሚቀጥለው ዓመት ከዚያው የባሰ ሞልቶ ያመጣል።

ሸማቹም እስከዚያ የሚያደርገው አለ። ስልክ ስትገዙ ገንዘብ ከመክፈላችሁ በፊት አስበሩት፤ ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የአፖቹን ዝርዝር ክፈቱ፤ የማታውቁትን አንድ በአንድ ንኩት። ‹‹አራግፍ›› ወይም ‹‹አሰናክል›› የሚል ከሌለ ስልኩን ለሻጩ መልሱለት፤ ለምን እንደመለሳችሁትም ንገሩት፤ እሱም ለአስመጪው ይንገረው። ጂሜይሉንም ራሳችሁ ክፈቱ።