የጋቢናው ጩኸትና ሙቀት ዕጣ ፈንታ አይደለም

«ናፍጣ መኪና መጮኹ፣ ሞተርም መጋሉ የተፈጥሮ ነው፤ ታዲያ ምን ይደረጋል?» የሚል አነጋገር በግቢያችን ውስጥ ደጋግሞ ይሰማል። የሳይንስ ክበብ አባላት የሆንን እኛ ግን በዚህ አነጋገር አንስማማም። ሞተር መጮኹም መጋሉም እርግጥ የተፈጥሮ ነው። ጩኸቱና ሙቀቱ ጋቢና ውስጥ ገብቶ ከሹፌሩና ከተሳፋሪው ጋር አብሮ መጓዙ ግን የተፈጥሮ ሕግ ሳይሆን የቸልተኝነት ውጤት ነው። በዚህ ጽሑፍ ለዚህ እምነታችን ምክንያቱን እናቀርባለን፤ ከሚቀጥለው የማስተማር ልምምድ ወቅት በፊት ምን መደረግ እንዳለበትም ሐሳባችንን እንሰነዝራለን።

ነገሩን ሁላችንም እናውቀዋለን። ለልምምድ ወደየትምህርት ቤቱ የሚያደርሰን አውቶቡስ፣ በጭነት መኪና ሻንሲ ላይ አካሉ አገር ውስጥ የተሠራለት፣ በተለምዶ ቅጥቅጥ የምንለው ነው። ሞተሩ ከፊት ነው ያለው፤ ከሹፌሩ የሚለየውም አንድ የላሜራ ክዳን ብቻ ነው። ቦታ ሲጠብ ክዳኑ ላይ ጋቢ አጥፎ የሚቀመጥ ሠልጣኝ አይጠፋም። ከጎሐ ጽዮን ወርዶ የዓባይን በረሃ አቋርጦ ወደ ደጀን በወጣ መኪና ጋቢና ውስጥ የተቀመጠ ሰው የምንለውን ይረዳናል። ዳገቱ ላይ ማርሹ ከባድ ነው፤ ሞተሩ በሙሉ ኃይሉ ይሠራል፤ መኪናው ግን ስለሚያዘግም የሚያቀዘቅዝ ነፋስ አይገባም። ጩኸቱም ሙቀቱም ከፍተኛ የሚሆነው በዚያን ሰዓት ነው፤ ሹፌሩ ከምንጊዜውም በላይ ንቁ መሆን የሚገባቸውም በዚያው ሰዓት ነው።

የዚህ ቸልተኝነት የመጀመሪያ ተጎጂ ሹፌራችን ናቸው። እኛ በዓመት ጥቂት ቀን እንጓዛለን፤ እርሳቸው ግን ዘወትር እዚያው ናቸው። በድምፅ መለኪያ 85 ዴሲቤል የሆነ ጩኸት ውስጥ አንድ ሰው በቀን ከ8 ሰዓት በላይ መቆየት እንደሌለበት የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ምርምር ተቋም በ1998 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አስቀምጧል። ጩኸቱ በ3 ዴሲቤል ብቻ ሲጨምር የድምፁ ኃይል እጥፍ ስለሚሆን የሚፈቀደው ጊዜ በግማሽ ይቀንሳል። በ88 ዴሲቤል 4 ሰዓት፣ በ91 ዴሲቤል 2 ሰዓት ይሆናል ማለት ነው። መለኪያ የሌለው ሰው በቀላሉ የሚገምትበት ዘዴም አለ። በክንድ ርቀት ካለ ሰው ጋር ለመነጋገር ድምፅን ከፍ ማድረግ ካስፈለገ ጩኸቱ 85 አካባቢ ደርሷል ወይም አልፏል። በእኛ አውቶቡስ ውስጥ «ጋሼ፣ እዚህ ጋ ያውርዱን!» ለማለት ምን ያህል እንደምንጮኽ አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ደግሞስ ጆሮ እንደ ቆዳ ቆስሎ የሚድን አካል አይደለም። በውስጠኛው ጆሯችን ያሉት፣ ድምፅን ወደ ነርቭ የሚያስተላልፉ ጥቃቅን ባለፀጉር ሕዋሳት በእያንዳንዱ ጆሮ 15 ሺህ ገደማ ናቸው። ከሞቱ በኋላ በሰው ላይ ተመልሰው አይበቅሉም። ጩኸት ቀድሞ የሚያጠፋው ከ3,000 እስከ 6,000 ኸርትዝ ያለውን ቀጭን ድምፅ መስማትን ነው። እንደ «ሰ» እና «ፈ» ያሉትን ተነባቢዎች የምንለየውም በቀጭኑ ድምፅ ነው። ሰውየው ሰው መናገሩን ይሰማል፤ ምን እንደተባለ ግን አይለይም። ልጁ «ሠራ» ሲል «ፈራ» ብሎ የሚሰማ ሰው ምን ዓይነት መምህር ይወጣዋል? ይህ ጉዳይ የሹፌር ብቻ ሳይሆን የእኛም የሙያ ጉዳይ ነው የምንለው ስለዚህ ነው። ከረጅም መንገድ በኋላ ጆሯችን ጭው እያለ፣ ጉሮሯችን በጩኸት ደርቆ ክፍል መግባታችንም የዚሁ ነገር ታናሽ ወንድም ነው።

ይህን ሐሳብ ስናነሳ በሦስት ዓይነት ተቃውሞ እንመለሳለን። አንደኛው «ይህ ቅንጦት ነው፤ አዲስ መኪና ሲገዛ ይፈታል» የሚል ነው። አዲስ መኪና ቢገዛ ደስ ይለናል። ነገር ግን መቼ እንደሚገዛ ያልታወቀ መኪና የዛሬውን ጆሮ አያድንም። ሁለተኛው «ጆሮ ላይ ጥጥ መወተፍ ይበቃል» ይላል። ተራ ጥጥ የሚያግደው ድምፅ ጥቂት ነው፤ በዚያ ላይ ሹፌር የሌላውን መኪና ጡሩምባ መስማት አለበት። የዓለም የሥራ ድርጅት በ1977 እ.ኤ.አ. ባጸደቀው ስለ አየር ብክለት፣ ስለ ጩኸትና ስለ ንዝረት በሚናገረው ስምምነት ቁጥር 148 የተቀመጠው ቅደም ተከተልም ግልጽ ነው። መጀመሪያ አደጋው በቴክኒክ ዘዴ ከሥራው ቦታ ይወገዳል፤ በሠራተኛው አካል ላይ የሚደረግ መከላከያ የሚመጣው ያ አልበቃ ሲል ነው። ሦስተኛው ተቃውሞ «ክዳኑ ከተሸፈነ ሞተሩ ታፍኖ ይግላል» የሚል ነው። ይህኛው ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ መልስም ይገባዋል። ሞተርን የሚያቀዘቅዘው ራዲያተሩና ቬንትሌተሩ እንጂ የጋቢናው ክዳን አይደለም። የአየሩ መግቢያና መውጫ እስካልተደፈነ ድረስ ክዳኑ መሸፈኑ ሞተሩን አይጎዳም።

ከእነዚህ ሁሉ ይልቅ የሚያሳስበን ግን አራተኛው ወገን ነው፤ ሐሳቡን ተቀብሎ በተሳሳተ መንገድ ለመሥራት የሚቸኩለው። «ምን ችግር አለው፣ አሮጌ የስፖንጅ ፍራሽ ቆርጠን ክዳኑ ሥር እንለጥፍ» የሚል ሐሳብ ከአንዳንድ ጓደኞቻችን ሰምተናል። ይህ ሁለት ጊዜ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ ስፖንጅ ብቻውን ወፍራሙን የሞተር ድምፅ አያግድም። እስቲ እናስላው። ባለ 4 ሲሊንደር፣ ባለ 4 ምት ሞተር በደቂቃ 2,400 ጊዜ ሲዞር በሴኮንድ 40 ጊዜ ዞረ ማለት ነው። በእያንዳንዱ ዙር 2 ሲሊንደሮች ስለሚያነዱ ዋናው ድምፁ 80 ኸርትዝ ይሆናል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚሄድ የዚህ ድምፅ የሞገድ ርዝመት ከ4 ሜትር ይበልጣል። ባለ 4 ሜትር ሞገድ 3 ሳንቲ ሜትር ስፖንጅን ከመጤፍም አይቆጥረው! ስፖንጅ ቀጭኑን ድምፅ ይውጣል፤ ወፍራሙን የሚያግደው ክብደት ነው። የከለላው ክብደት እጥፍ ሲሆን የሚያልፈው ድምፅ 5 ወይም 6 ዴሲቤል ያህል ይቀንሳል።

ሁለተኛውና የከፋው ስሕተት እሳት ነው። የፍራሽ ስፖንጅ ዘይትና ናፍጣ ይመጣል፤ ከተያያዘ በፍጥነት ይነድዳል፤ ጭሱም መርዛማ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ድርጅት የአውሮፓ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ለአውቶቡሶች ያወጣው ደንብ ቁጥር 107፣ በሞተር ክፍል ውስጥ በቀላሉ የሚቀጣጠል የድምፅ መከላከያን ይከለክላል። ነዳጅ ወይም ዘይት ሊመጥ የሚችል ነገርም እንዲሁ የተከለከለ ነው፤ የሚፈቀደው ፈሳሽ በማያሳልፍ ልባስ ሲሸፈን ብቻ ነው። ሹፌሩን ከጩኸት አድናለሁ ብሎ ሙሉ አውቶቡስ ተሳፋሪ ለእሳት ማጋለጥ ከቶ የሚታሰብ አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እንዲህ ላለው ነው።

ታዲያ ትክክለኛው መንገድ የትኛው ነው? ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንላለን።

1ኛ፤ መጀመሪያ ሞተሩ ይፈተሽ። የተበላ የጭስ ማውጫ ጓርኒሲዮን፣ የተቀደደ ማርሚታ፣ ያረጀ የሞተር መሸከሚያ ካውቾ ካለ እርሱ ይለወጥ። የሚያፈስ የጭስ ማውጫ ላይ መሸፈኛ መደረብ በሽታን በልብስ መደበቅ ነው። በዚያ ላይ ከጭሱ ጋር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታም ቀለምም የሌለው ገዳይ ነው።

2ኛ፤ ቀዳዳዎቹ ይደፈኑ። በክዳኑ ጠርዝ፣ በካምቢዮው ዘንግና በሽቦዎቹ መተላለፊያ ዙሪያ ያለው ክፍተት ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ከአንድ ከለላ ስፋት ከመቶ 1 እጅ ብቻ ክፍት ከሆነ፣ የቀረው 99 እጅ የምሽግ ግንብ ቢሆን እንኳ ጠቅላላ መከላከያው ከ20 ዴሲቤል አያልፍም። የጠርዝ ጎማ ዋጋው ትንሽ፣ ጥቅሙ ግን ብዙ የሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

3ኛ፤ ላሜራው ይረጋጋ። ቀጭን ላሜራ እንደ ከበሮ ይንቀጠቀጣል። ለመኪና ተብሎ የተሠራ፣ ተለጣፊ የቡቲል ጎማ ንጣፍ ሲለጠፍበት ንዝረቱ ወደ ሙቀት ተለውጦ ይሞታል። መላውን ላሜራ መሸፈን አያስፈልግም፤ መሐል መሐሉን፣ ሩቡን ወይም ግማሹን መሸፈን አብዛኛውን ሥራ ይሠራል።

4ኛ፤ ከባድና ለስላሳ ንጣፍ በአንድነት ይደረብ። በጋቢናው በኩል በመጀመሪያ ለስላሳ፣ እሳት የሚቋቋም ንጣፍ፣ በላዩ ከባድ የጎማ ምንጣፍ፣ ከዚያ ሞኬቱ። ለስላሳው ጎማውን ከላሜራው ንዝረት ይለየዋል፤ ከባዱ ድምፁን ያግዳል።

5ኛ፤ ሙቀቱ በሞተሩ በኩል ይመለስ። ሙቀት በሦስት መንገድ እንደሚጓዝ ለልጆች እናስተምራለን፤ በብረት ተላልፎ፣ በአየር ተሸክሞ፣ በጨረር ተረጭቶ። በመቶዎች የሚቆጠር ዲግሪ ከሚግለው የጭስ ማውጫ የሚመጣው በአብዛኛው በጨረር ነው። የሚያብረቀርቅ አሉሚኒየም ከዚህ ጨረር ከመቶ 90 እጅ በላይ ይመልሳል፤ ግን ከጋለው ነገር ጋር ሳይነካካ፣ መሐሉ አየር እንዲኖር ሆኖ ሲሠራ ነው። በአሉሚኒየም ተሸፍኖ፣ ጠርዙ ዘይት እንዳያስገባ የታሸገ የ3 ሳንቲ ሜትር የመስታወት ጥጥ ቢደረግ፣ በ1 ካሬ ሜትር ክዳን በኩል በሁለቱ ፊቶች መካከል 50 ዲግሪ ልዩነት እያለ የሚያልፈው ሙቀት 67 ዋት ገደማ ብቻ ይሆናል። ከአንድ የድሮ አምፑል ብዙ አይበልጥም። ንጣፉ በሙጫ ብቻ ሳይሆን በቡሎን ይያዝ፤ ሙጫ በሙቀት ይለቃል፤ የወደቀ ንጣፍም ቬንትሌተር ውስጥ ይገባል። ክዳኑ ለዘይት ፍተሻ እንደ ልብ መከፈት አለበት።

ይህ ችግር የእኛ አገር ብቻ አይደለም። አሜሪካኖች ሞተራቸው በሹፌሩና በጓደኛው ወንበር መካከል በሚገኝ ትልልቅ የመንገደኛ ቤት መኪኖቻቸው ውስጥ ይህንኑ የሞተር ክዳን «የውሻ ቤት» ይሉታል። ባለቤቶቹም የሚያደርጉት ከላይ የዘረዘርነውን ነው፤ ጠርዙን በጎማ ማሸግ፣ ውስጡን በአሉሚኒየም መልበስ፣ ላዩን በከባድ ምንጣፍ መሸፈን። እነርሱ ለሽርሽር ሲሉ ያደረጉትን እኛ ለሥራ ስንል ብናደርገው ቅንጦት የሚባልበት ምክንያት አይታየንም።

በዚህ ሥራ ውስጥ ለማስተማር የሚሆን ነገርም ሞልቷል። የሚጮኽ ስልክ ባዶ ጣሳ ውስጥ አስቀምጡ፤ ጣሳውን በስፖንጅ ጠቅልሉ፤ ቀጥሎ ስፖንጁን አንሥታችሁ በእርጥብ ሸክላ ጭቃ ለብጡት፤ ከዚያ ጭቃው ላይ ጣት የምታህል ቀዳዳ ክፈቱ። ሦስቱን ልዩነት በጆሮው የሰማ የ7ኛ ክፍል ተማሪ የድምፅን ትምህርት አይረሳውም። ማስተማሪያ መሣሪያ የለንም የምንል ሰዎች መሣሪያው በየቀኑ ተሳፍረንበት ነው የምንውለው!

እንግዲህ ከአስተዳደሩ የምንጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አውቶቡሱ ለጥገና በሚቆምባቸው ቀናት ሥራው እንዲሠራ ይፈቀድልን፤ ለንጣፉና ለጠርዝ ጎማው የሚያስፈልገው ገንዘብ ከመጓጓዣ ማደሻው በጀት ይመደብ፤ የሹፌራችንም ጆሮ በሐኪም ይመርመር። ከአሠልጣኞቻችን ደግሞ በሙያው የሠለጠነ መካኒክ ሥራውን እንዲመራና እንዲያጸድቅ እንዲያደርጉልን እንጠይቃለን። ጉልበቱን እኛ እናዋጣለን። ሥራው ከመጀመሩ በፊትና ካለቀ በኋላ በአንድ ስልክ፣ በአንድ ቦታ፣ ሞተሩ በእኩል ፍጥነት እየዞረ ድምፁን እንለካለን። የስልክ መለኪያ ልከኛ ባይሆንም ፊትና ኋላውን ለማወዳደር ይበቃል። ውጤቱንም ጥሩ ሆነ መጥፎ በዚሁ ሰሌዳ ላይ እንለጥፋለን።

ሐሳባችንን የሚቃወም ካለ መልሱን ጽፎ ከጽሑፋችን ጎን ይለጥፍ። ለነገሩ አንድ ጥያቄ ብቻ እናስቀድምለት፤ በመጪው ጉዞ ክዳኑ አጠገብ ለመቀመጥ ፈቃደኛ ነው ወይ?