ራሱን የሚመሰክር ፈተና

በካሊፎርኒያ ከሳን ሆዜ እስከ ሪችመንድ፣ ፓይተን በሚጻፍበት መሥሪያ ቤት ሁሉ አንድ ልማድ ሥር ሰዷል። ፕሮግራመሩ አንዱ በሌላው ውስጥ የተቀመጠ የመረጃ ሞዴል ይሠራል፦ ቤተሰብ አለ፣ በቤተሰቡ ውስጥ አባላት፣ በእያንዳንዱ አባል ውስጥ ስም፣ አድራሻና የልደት ቀን። ቀጥሎ ፈተና ይጽፍለታል። ሞዴሉን ራሱ ሞልቶ ይፈጥረዋል፣ ወደ ጄሰን ይለውጠዋል፣ ጄሰኑን መልሶ ያነበዋል፤ የሄደውና የተመለሰው እኩል ከሆኑ አረንጓዴ ይበራል። ደርሶ መልስ ፈተና የሚባለው ይህ ነው። ሪፖርቱ «ሽፋን መቶ በመቶ» ይላል፣ አለቃው ያጸድቃል፣ ኮዱ ሥራ ላይ ይውላል።

ይህ ፈተና የሚያረጋግጠው ሞዴሉ ከራሱ ጋር እንደማይጣላ ነው። መረጃውን በቅጽ ሞልቶ ከላከው ሰው ጋር ይስማማ እንደሆነ ግን የጠየቀው የለም።

አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን የአደጋ ጊዜ ተጠሪ አድርጎ የሚያስመዘግብ የሪችመንድ ነዋሪ እናስብ። የዘመዱ ስልክ በ0911 ይጀምራል። ሞዴሉን የሠራው ሰው «ስልክ ቁጥር ቁጥር ነው» ብሎ የመስኩን ዓይነት ኢንት (ሙሉ ቁጥር) አድርጎታል። በፓይተን ለዚህ ሥራ በብዛት የሚመረጠው ፒዳንቲክ የተባለው ላይብረሪ፣ ጥብቅ ሁን ካላሉት በስተቀር ለዘብተኛ ነው፤ በጽሑፍ የመጣለትን አኃዝ ራሱ ወደ ቁጥር ይለውጠዋል። የፊተኛው ዜሮ እዚያው ቀረ። ከዚህ በኋላ ደርሶ መልሱን ደጋግማችሁ ብታስኬዱት፣ ያለ ዜሮው ይሄዳል፣ ያለ ዜሮው ይመለሳል፣ «እኩል ነው» ይላችኋል። ጥፋቱ የደረሰው ፈተናው ከመጀመሩ በፊት ነዋ! የሪችመንድ የፖስታ ኮዶች እንደ 94801 በ9 ስለሚጀምሩ፣ የሰፈራችን ፕሮግራመር በገዛ አድራሻው ሲሞክር ይህን ጉድ አያየውም። የቦስተን ኮዶች በዜሮ ስለሚጀምሩ የዚያኛው ቶሎ ይነቃል።

የቀኑ ነገር ከስልኩም ይብሳል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 6 ቀን 2012 በሪችመንድ የቼቭሮን ነዳጅ ማጣሪያ የተነሳውን እሳት የከተማው ሰው አልረሳውም። በእኛ በኢትዮጵያውያን አቆጣጠር ዕለቱ ሐምሌ 30 ቀን 2004 ነበር። ይህንን ቀን 2004-11-30 ብላችሁ ለፒዳንቲክ ስጡት። አያቅማማም፤ ኖቬምበር 30 ቀን 2004 ነው ብሎ ይቀበላል፣ እሳቱንም ከሰባት ዓመት ከስምንት ወር በላይ ወደ ኋላ ይወስደዋል። ፍተሻው ያየው ቅርጽን ነው፤ አራት አኃዝ፣ ሰረዝ፣ ከ12 ያልበለጠ ወር፣ በወሩ ልክ የሆነ ቀን።

ሒሳቡን አንድ ዓመት ወስደን እንየው። 2009 ዓ.ም. 365 ቀናት አሉት። ሁሉም በዚህ መልክ በቁጥር ተጽፈው ቢገቡ 358ቱ ያለ አንዳች ቅሬታ ያልፋሉ፤ ሁሉም ግን የተሳሳተ ቀን ሆነው። የሚመለሱት ሰባት ብቻ ናቸው፦ ኮምፒውተሩ 13ኛ ወር ስለማያውቅ አምስቱ የጳጉሜን ቀኖች፣ የዚያ ዓመት ፌብሩዋሪ በ28 ስለሚያበቃ ደግሞ ጥቅምት 29 እና 30። (ጳጉሜን ቢያንስ በሩ ላይ ጮኾ ስህተቱን ያሳውቀናል፤ ሌሎቹ ወሮች ዝም ብለው ነው የሚገቡት።) መዘዙ ቀላል አይደለም። ዊክ የተባለው የእናቶችና የሕፃናት ምግብ ድጋፍ ልጁን የሚይዘው እስከ አምስተኛ ዓመት ልደቱ ነው። ጥር 2015 ዓ.ም. የተወለደ ሕፃን የልደት ሰነዱ እንደወረደ ቢገባ፣ ማሽኑ እ.ኤ.አ. በሜይ 2015 የተወለደ አድርጎ ይቆጥረዋል፤ ልጁ ገና ሳይድህ ዕድሜው አልፎበታል። የስህተት መልእክት ስላልወጣ ማንም አይፈልገውም።

ስለዚያ እሳት ካነሳን አይቀር፣ የፌዴራሉ የኬሚካል ደኅንነት ቦርድ ምርመራ ያገኘው ነገር ለእኛ ሙያም ይሠራል። የፈነዳው የቧንቧ ቁራጭ በውስጡ ያለው ሲሊከን አነስተኛ ስለነበር፣ ሰልፈር ከጎረቤቶቹ ይልቅ እሱን በልቶ አሳስቶት ነበር። ማጣሪያው የቧንቧዎቹን ውፍረት ይለካ ነበር፤ የሚለካባቸው ነጥቦች ግን ያ ቁራጭ ላይ አልነበሩም። የተለካው ቦታ ደህና ነበር፣ መዝገቡም እንዲያ ይላል። ወደ 15,000 የሚጠጋ ሰው ሐኪም ዘንድ ሄደ። «ጆን ስሚዝ»ን፣ ሚስቱን፣ ሁለት ልጆቹንና የካሊፎርኒያ አድራሻውን ይዞ የሚደረግ ፈተና የሚለካው ያንኑ ደህናውን ቦታ ነው።

ስሙን ውሰዱ። አባት ታደሰ ወልዴ፣ እናት አልማዝ ከበደ፣ ልጅ ሣራ ታደሰ ይሁኑ። ሦስቱም አባላት በየራሳቸው ሲፈተኑ ያልፋሉ። በውጨኛው ሞዴል፣ በቤተሰቡ ላይ ግን «የልጅ የቤተሰብ ስም ከወላጆች ከአንዱ ጋር አንድ መሆን አለበት» የሚል ሕግ ከተጻፈ፣ ቤተሰቡ በሙሉ ይወድቃል። ሣራ ወልዴም ከበደም አይደለችም። የተደራረበ ሞዴል ጣጣው እዚህ ላይ ነው፤ ብዙ ጊዜ ክፍሎቹ ደህና ሆነው የሚበላሸው መገጣጠሚያው ነው። ፈተናዎቻችን ግን ክፍል ክፍሉን ይነካኩና መገጣጠሚያውን ለደርሶ መልሱ ይተዉታል።

መገጣጠሚያውን እንፈትሻለን የሚሉትም ቢሆኑ አብዛኞቹ ውስጠኛውን ዕቃ አስቀድመው ሠርተው፣ ያለቀለትን ለውጨኛው ያቀብሉታል። ፒዳንቲክ ደግሞ የራሱ ዓይነት የሆነ የተሠራ ዕቃ ሲመጣለት፣ በልዩ ቅንብር ካላዘዙት እንደገና አይፈትሸውም፤ ከተሠራ በኋላ አንዱ መስክ ተለውጦ ቢበላሽም እንዳለ ይገባል። በር ላይ የቆመውን ጠባቂ እንፈትናለን ብለው በጓሮ ገቡ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያናድደኝ ግን «ስህተት መነሳት አለበት» የሚለው ፈተና ነው። ፓይቴስት በተባለው የፈተና መሣሪያ ሁለት መስመር ይጻፋል፦ ይህንን መረጃ ስትሰጠው የፍተሻ ስህተት ይነሳ። የት? አልተባለም። ለምን? አልተባለም። ጸሐፊው የሦስተኛው አባል የተበላሸ የልደት ቀን መመለሱን ማሳየት ፈልጎ፣ መረጃውን ሲያዘጋጅ የእናትየዋን አድራሻ ይረሳል። ስህተት ይነሳል፣ ስለ አድራሻው። ፈተናው ያልፋል። ከስድስት ወር በኋላ ሌላ ሰው የቀኑን ሕግ ያላላዋል፤ ፈተናው አሁንም ያልፋል። ላይብረሪው በበኩሉ ሥራውን ሠርቷል፤ የተገኙትን ስህተቶች በዝርዝር፣ እያንዳንዱን ከነመንገዱ ያቀርባል፦ አባላት፣ 2፣ የልደት ቀን (ቆጠራው ከዜሮ ስለሚነሳ 2 ሦስተኛው አባል ነው)። ያንን ዝርዝር ከፍቶ «ስህተቱ አንድ ብቻ ነው፣ ቦታውም ይህ ነው» ብሎ የሚጠይቅ ፈተና ሁለት መስመር ብቻ ይጨምራል። ስንፍና ካልሆነ ሌላ ምክንያት አላገኘሁለትም።

የሚሰነዘረውን መልስ አውቀዋለሁ። «ላይብረሪው በሠሪዎቹ ተፈትኗል፣ እኛ ደግመን አንፈትነውም» ይላሉ። ልክ ነው። ግን ደርሶ መልሱ ከማንም በላይ የሚፈትነው ላይብረሪውን ነው፤ ስልክን ኢንት ያደረገው፣ የቤተሰብ ስም ሕግ ያወጣው፣ ያልታወቀ መስክ ሲመጣ በነባሪው ዝም ብሎ የሚጣል መሆኑን እያወቀ ያልከለከለው የእናንተ ኮድ ነው። ደርሶ መልስ ፈጽሞ አይረባም አላልኩም። «አባል» ተብሎ በተጻፈ ዝርዝር ውስጥ «ተማሪ» የተባለ ልዩ አባል ብታስገቡ፣ ሁለተኛው የፒዳንቲክ ትውልድ ወደ ጄሰን ሲለውጠው የተማሪነቱን መስኮች ይጥላቸዋል፤ ይህንን ደርሶ መልሱ ይይዘዋል። ርካሽ ስለሆነ ይኑር። ብቻውን ሲቆም ነው ጠቤ።

ሌሎች ደግሞ «ሃይፖቴሲስ አለልን» ይላሉ፤ በዘፈቀደ እልፍ ምሳሌ እየፈጠረ የሚሞክር የፓይተን መሣሪያ ነው። የሐሳቡ መነሻ ኮን ክላሰንና ጆን ሂዩዝ ለሃስክል የሠሩት ክዊክቼክ ነው፣ ድንቅ ሐሳብም ነው። ነገር ግን ምሳሌውን የሚፈጥረው ሞዴሉ ከሚያውቀው ዓይነት ነው። ቀን ፍጠር ስትሉት የፓይተንን ቀን ይፈጥራል፤ ጳጉሜን ከየት ያምጣው? ኢንት ፍጠር ስትሉት በዜሮ የሚጀምር ስልክ አያወጣም። ሞዴሉ የማያውቀውን ነገር ከሞዴሉ የተወለደ ፈተና አያነሳውም።

ስለዚህ ፈተናው ከጥሬው ይጀምር። ከቅጹ እንደሚመጣው ያለ የጄሰን ጽሑፍ በፋይል ይቀመጥ፤ መውጣት ያለበትም ጽሑፍ እንዲሁ፣ በሰው እጅ ተጽፎ። የሚጠበቀውን ውጤት ኮዱን አስኬደው ከኮዱ የሚገለብጡ አሉ፤ እነሱ የዛሬውን ስህተት ለነገ ሕግ አድርገው ማጽደቃቸው ነው። በፋይሎቹ ውስጥ በ09 የሚጀምር ስልክ፣ በፊደላችን የተጻፈ ስም፣ የአያቱን ስም የማይጠራ ልጅ፣ ጳጉሜን 3 ቀን የተወለደች እናት ይኑሩበት። የልደት ቀኑ ራሱ የውስጥ ሞዴል ይሁን፦ የተጻፈው ቀን አንድ መስክ፣ የትኛው አቆጣጠር እንደሆነ ሌላ መስክ፣ ሁለተኛው ባዶ ሲሆን ስህተት የሚያነሳ።

በኦክላንድም በሪችመንድም የሌላ ሰው ኮድ ገምግማችሁ የምታጸድቁ ወገኖች አላችሁ። እነዚህ ቅጾች እናቶቻችሁም የሚሞሏቸው ናቸው። ከጥሬ ጽሑፍ ያልጀመረና ስህተቱ የት እንደሆነ የማይጠይቅ ፈተና ሲቀርብላችሁ አታጽድቁት።