ጥሩር ስለሚለብሰው የልጆች መጫወቻ

ልጅ ሲጫወት ሥራ ፈትቶ የዋለ የሚመስላቸው ወላጆች ብዙዎች ናቸው። ነገሩን ጠጋ ብሎ ለተመለከተው ግን፥ የሕፃን እጅ ብልሃትን፥ ዓይኑም ልክን፥ ልቡም ትዕግሥትን የሚማረው ከመጽሐፍ በፊት በመጫወቻው ነው። ስለዚህ ይህ የቤተ ሰብ ገጻችን ስለ ምግብ፥ ስለ ልብስና ስለ ቤት አያያዝ እንደሚናገር ሁሉ፥ ወላጆች ገንዘብ አውጥተው ለልጆቻቸው ስለሚገዙት መጫወቻም መናገር የሚገባው መስሎ ስለ ታየን፥ ዛሬ ከውጭ አገር እየመጣ በአንዳንድ ቤት ስለሚገኘው ስለ አንድ ዓይነት መጫወቻ እንጽፋለን።

ይህ መጫወቻ ትራንስፎርመር ይባላል፤ ትርጓሜውም መልኩን የሚለውጥ ማለት ነው። በመጀመሪያ በሰው አምሳል የተሠራ ሮቦት ሆኖ ይቆማል። ኋላ ግን ክንዱን አጥፈው፥ እግሩን ስበው፥ ራሱን ወደ ደረቱ ሲያስገቡት አውቶሞቢል ወይም አይሮፕላን ይሆናል። ሮቦት ስለ ተባለ ብቻ በራሱ የሚንቀሳቀስ እንዳይመስላችሁ። በ2018 ዓ.ም. እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር አዲስ አበባ መጥታ በአማርኛ የተናገረችው፥ የከተማችን አይኮግ ላብስም በአእምሮዋ ሥራ የተካፈለባት ሶፊያ የተባለችው ሮቦት በኤሌክትሪክና በሒሳብ ቀመር የምትሠራ ናት። ይኸኛው ግን ሞተር የለው፥ ባትሪ የለው፤ የልጁ እጅ ካልዞረው አንዲት ጣት እንኳ አያነሣም። አንባቢዎቻችን ይህን ነገር ልብ ብለው እንዲይዙልን እንለምናለን፤ ኋላ እንመለስበታለንና። ከዚህ በታች የምንጠራቸው ዓመታትም ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጫወቻው መገኛ ጃፓን ነው። ታካራ የተባለው የጃፓን ኩባንያ ዳያክሎንና ማይክሮ ቼንጅ በሚባሉ ስሞች ይሸጣቸው የነበሩትን ተለዋዋጭ መጫወቻዎች፥ ሃስብሮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ወስዶ አዲስ ስምና አዲስ ታሪክ ሰጥቶ በ1984 ለገበያ አወጣቸው። በዚያው ዓመት የሚንቀሳቀስ ሥዕል በቴሌቪዥን እንዲታይ አደረገ። ሥዕሉ ለልጆች ተረት ነው፤ ለነጋዴው ግን የዕቃው አዋጅ ነጋሪ ነበረ። ይህም እውነት መሆኑ በ1986 ታወቀ። በዚያ ዓመት በወጣው ፊልም አዲስ መጫወቻ ለመሸጥ ሲባል ኦፕቲመስ ፕራይም የተባለውን አለቃቸውን ቢገድሉት፥ ሕፃናቱ እጅግ ስላዘኑ በ1987 መልሰው ሊያስነሡት ግድ ሆነባቸው። ልጅ መጫወቻውን ምን ያህል እንደሚወድ ነጋዴዎቹም የተማሩት ያን ጊዜ ነው።

ከነዚህ ሁሉ እኛ ዛሬ የምንመረምረው ጄትፋየር የተባለውን ነው፤ ምክንያቱም ጥሩር እየለበሰና እያወለቀ የሚያጌጥ እርሱ ስለ ሆነ ነው። የመጀመሪያው ጄትፋየር በ1985 ወጣ። ቅርጹ ግን የታካራ ሳይሆን፥ ታካቶኩ የተባለው ሌላ የጃፓን ሠሪ በ1982 በቴሌቪዥን ከታየው ማክሮስ ከተባለው ታሪክ ያወጣው፥ ሾጂ ካዋሞሪ የሣለው የጦር አይሮፕላን ነበረ። ክንፉንም እንደ አሜሪካው ኤፍ 14 ይዘረጋና ይሰበስባል። ታካቶኩ በ1984 ከስሮ ቅርጹ ለታካራ ተፎካካሪ ለባንዳይ ስለ ደረሰ፥ ታካራ ይህን መጫወቻ በጃፓን ሊሸጠው አልቻለም። በቴሌቪዥኑም ሥዕል ስካይፋየር በሚል ስምና በሌላ መልክ ታየ። እንግዲህ አንድ ነጭ አይሮፕላን ከሣጥኑ ወጥቶ ከልጅ እጅ ሳይደርስ፥ የሦስት ኩባንያ ክርክር እንዳለፈበት ከዚህ እንረዳለን።

በ2019 ሃስብሮ ይህንኑ ጄትፋየር እንደ ገና በትልቁ ሠርቶ አወጣው፤ ዋጋውም በአሜሪካ ሰማንያ ዶላር ገደማ ነበረ። እኛም ይህን አዲሱን ከአንድ ወዳጃችን ተውሰን ሁለት ምሽት ያህል በእጃችን ይዘን ተመልክተነዋል። ገላው ነጭ፥ ጥሩሩ ቀይ ነው። ጥሩሩ አንድ ወጥ ሳይሆን በብዙ ክፍል የተሠራ ነው፤ የደረት፥ የእግር፥ የራስ ቁርና የፊት መሸፈኛ አለው፤ በጀርባውም የሚታዘል የሮኬት ሞተር አምሳል አለበት። ክፍሎቹ የሚገጠሙት 5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያላት ችንካር ልኳ በሆነ ቀዳዳ እየገባች ነው። ይህ ልክ በዚያ ዘመን ለወጡት ለጓደኞቹ ሁሉ አንድ ስለ ሆነ፥ የአንዱን መሣሪያ ለሌላው ማስታጠቅ ይቻላል። ጥሩሩ በሰው አምሳል ቆሞ ሳለ ይገጠምለታል፤ አይሮፕላንም ከሆነ በኋላ በላዩ ይሆናል እንጂ ከጠረጴዛ ላይ ተጥሎ አይቀርም። ሥራውን ያመሰገንንበት ዋና ነገር ይህ ነው።

ነቀፌታችንም ሁለት ነው። የመጀመሪያው፥ የክፍሎቹ ቍጥር ብዙ ስለ ሆነ ሥርዓት በሌለው ቤት በአንድ ሳምንት ውስጥ ግማሹ ከምንጣፍ ሥር ይጠፋል። ሁለተኛው፥ ሠሪዎቹ ከጦር ሜዳ የተመለሰ እንዲመስል በማለት በገላው ላይ የብር ቀለም ጭረት ቀብተውበታል። ጠባሳ በፋብሪካ ሲቀባ ለእኛ አልጣመንም። የጀግና ጠባሳ ከውሎው፥ የመጫወቻም ጠባሳ ከልጁ እጅ ሊገኝ ይገባዋልና።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ይህ መጫወቻ የልጅ መሆኑ እየቀረ የአዋቂ ሰዎች ሀብት እየሆነ ሄዷል። ሣጥኑ ያልተከፈተ፥ ጥሩሩም ያልጎደለበት የ1985 ጄትፋየር ከተጫወቱበት ይልቅ ብዙ እጥፍ ስለሚያወጣ፥ በውጭ አገር ብዙዎች በመስተዋት ውስጥ አኑረው ይጠብቁታል። በዘመን የቆየን ነገር ማክበር የሚነቀፍ አይደለም። ዳሩ ግን ያልተነካ ሁሉ አይጠፋም ማለት አይቻልም። ነጩ ፕላስቲክ በብርሃንና በሙቀት እየቆየ ይቢጫል፤ በተዘጋ ሣጥን ውስጥ የኖረውም ሁልጊዜ ከዚህ አይድንም። ከእነዚሁ መጫወቻዎች ወገን ወርቅማ ፕላስቲክ ያለባቸው አንዳንዶቹ ደግሞ፥ ማንም ሳይነካቸው ከዘመን ብዛት የተነሣ ከውስጥ ይሰነጣጠቁና፥ ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅስቃሴ ሲሞከርባቸው ይፈርሳሉ። ከልጁ እጅ አድናለሁ ብሎ የቆለፈው ሰው ከዘመን እጅ ሊያድነው አልቻለም።

ይህን የምንጽፈው በሩቅ አገር ስለሚኖሩ ሰዎች ብቻ አይደለም። በምንኖርበት በልደታ ሰፈር አንድ የተከበረ የመንግሥት ሠራተኛ አለ። ወንድሙ ከዋሽንግተን የላከለትን ጄትፋየር ሣጥኑን ሳይከፍት በሳሎኑ ቡፌ መስተዋት ውስጥ አስቀምጦታል። ባለፈው የግንቦት ልደታ ጎረቤት ሁሉ ከደጅ ወጥቶ ንፍሮ ሲቀምስ፥ የዚህ ሰው ልጅ አንድ ነገር ይዞ ወደኛ መጣ። በሽቦና በሳርዲን ጣሳ የሠራው ሰው ነው። ጕልበቱ ይታጠፋል፤ ሲታጠፍም በቆርኪ ጎማ የሚሄድ መኪና ይሆናል። ከቀይ ካርቶን ቆርጦ በላስቲክ የሚታሰር ጥሩርም አበጅቶለታል።

«ይህን ከማን ተማርኸው?» ብለን ብንጠይቀው፥

«የቡፌውን ሣጥን ሥዕል እያየሁ ነው» አለን።

«ታዲያ በራሱ ለምን አትጫወትበትም?»

«አባባ ይሰበራል ብለውኛል፤ ሳድግ ይሰጡኛል።»

አባትየው ይህን ሰምቶ «ጋሼ፥ ይህ እኮ ቅርስ ነው፤ ዋጋውም በየዓመቱ ይጨምራል» ሲለን፥ ባለቤቱ የንፍሮውን ሣሕን እያቀረበች «ልጁ ሲያድግ ጨዋታውም አብሮት አድጎ ይሄዳል፤ ያን ጊዜ የምትሰጠው ለማን ነው?» አለችው። ሁላችንም ዝም አልን። ሣጥኑ ይህን እስከምንጽፍበት ቀን ድረስ አልተከፈተም፤ ልጁም አሁን ዐሥር ዓመት አልፎታል።

በአባትየው ላይ ግን ፈጥነን አንፈርድበትም። እርሱ ልጅ የነበረበት ዘመን ይህ መጫወቻ በአሜሪካ የወጣበት 1984ና 1985 ነው። በዚያ ጊዜ ሀገራችን በታላቅ ረሃብና ጦርነት ውስጥ ስለ ነበረች፥ ለብዙዎቹ ልጆች እንዲህ ያለውን ነገር ማየት ቀርቶ ማሰብም የሚቻል አልነበረም። ስለዚህ በመስተዋቱ ውስጥ የቆለፈው ገንዘቡን ብቻ አይመስለንም፤ ያላገኘውን የራሱንም ልጅነት ነው። ሐዘኑ ይገባናል። ነገር ግን ያለፈው የአባት ልጅነት በመስተዋት ቢቆለፍ አይመለስም፤ ያለው የልጁ ልጅነት ግን በቍልፉ ምክንያት ያልፋል።

አያቶቻችንም የጦር ልብስ ነበራቸው። ጋሻው፥ ለምዱ፥ ጎፈሩና ጥሩሩ በየመኳንንቱ ቤት በክብር ይቀመጥ ነበር፤ ነገር ግን በዘመቻና በበዓል ቀን እየወጣ ይለበስ ነበር እንጂ ተቆልፎ ብቻ አይኖርም ነበር። የጋሻም ቆዳ ካልታሸና ካልተጠበቀ ደርቆ ይሰነጠቃል። አሽከሩም ጋሻ መያዝን የተማረው በመያዝ ነው። እንዲሁም ልጅ ዕቃ መጠበቅን የሚማረው የሚጠብቀው ዕቃ በእጁ ሲሰጠው ነው፤ ከመስተዋት ውጭ ሆኖ ሲመለከት የሚማረው መመኘትን ብቻ ነው።

ስለዚህ ይህን መጫወቻ ለሚገዙ ወላጆች የሚከተለውን ምክር እንሰጣለን።

በመጀመሪያ፥ ዕድሜውን ተመልከቱ። የ2019ኙ ጄትፋየር የተሠራው ስምንት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆናቸው ልጆች ነው። ሦስት ዓመት ያልሞላው ሕፃን ባለበት ቤት ግን ትንንሾቹን ክፍሎች ከፍ ካለ ቦታ አኑሩ፤ ሕፃን ያገኘውን ሁሉ ወደ አፉ ስለሚወስድ ሊያንቁት ይችላሉና።

ሁለተኛ፥ ስትገዙ ሣጥኑን ብቻ አትመኑ። አስመስለው የተሠሩ ብዙ ስለሆኑ መጋጠሚያው የላላ፥ ጠርዙ እጅ የሚቈርጥ፥ ሽታው የሚከረፋ ከሆነ ርካሽ ነው ብላችሁ አትውሰዱት።

ሦስተኛ፥ መለዋወጡን እናንተ አትሥሩለት። ከሣጥኑ ውስጥ ደረጃውን በሥዕል የሚያመለክት ወረቀት አለ፤ ልጁ ራሱ እየተመለከተ ይሞክረው። በግድ የሚታጠፍ ነገር ቢያጋጥመው ኃይል ሳይጨምር አንድ እርምጃ ወደ ኋላ እንዲመለስ ምከሩት። ይህ ትምህርት ከመጫወቻው አልፎ ለሌላውም ሥራ ይጠቅመዋል።

አራተኛ፥ ለጥሩሩ ከጨርቅ አንድ ትንሽ ከረጢት ሰፍታችሁ ስጡት፤ ማታ ማታ ክፍሎቹን ቈጥሮ ይመልስ። ፀሐይ ከሚመታው መስኮትም አታስቀምጡት። በሰባት ቀን ውስጥ አንድ ክፍል ቢጠፋበት፥ ቍጣውን ትታችሁ አብራችሁት ፈልጉ።

አምስተኛ፥ ዋጋው ለቤታችሁ ከባድ ከሆነ ፈጽሞ አትግዙት። የልደታው ልጅ በጣሳና በሽቦ የሠራውን አይተናልና፥ ብልሃት ከገበያ ብቻ እንደማይገኝ እንመሰክራለን። ገዝታችሁ ከልጁ ከመቈለፍ ይልቅ ሳትገዙ ጉጠትና ሽቦ ብትሰጡት ይሻላል።

ለራሳቸው የሚሰበስቡ አዋቂዎችም ቢኖሩ አንከለክላቸውም፤ ገንዘቡ የራሳቸው ነው። ነገር ግን ለልጅ ተብሎ በልጅ ስም የተላከውን ለልጁ ይስጡት፤ ለራሳቸውም ሌላ ይግዙ። አንዱ በመስተዋት፥ አንዱ በእጅ ቢኖር በቤት ውስጥ ቅሬታ አይገባም።

እኛ ባደረግነው ምርመራ ጄትፋየር ሥራው ያማረ፥ አእምሮን የሚያነቃ፥ ትዕግሥትንም የሚያስተምር መጫወቻ ነው ብለን እናመሰግነዋለን። ይህ ሁሉ ምስጋና ግን ከሣጥኑ ለወጣው ነው፤ ባልተከፈተ ሣጥን ላይ የምንሰጠው ፍርድ የለንም።

በሚመጣው ሳምንት ልጆች በቤታቸው ከሽቦ፥ ከጣሳና ከቆርኪ ሊሠሯቸው ስለሚችሉ መጫወቻዎች እንጽፋለን።