የጎን እይታና የመንጃ ፈቃድ

ከሩቅ የተሰቀለ ትንሽ ፊደል አጥርቶ ያነበበ ሁሉ ለመንዳት የሚበቃ ዓይን አለው ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው። ይህ እምነት ግን ግማሽ እውነት ነው።

ዓይናችን አጥርቶ የሚያየው ስፍራ እጅግ ጠባብ ነው፤ ክንዳችንን ዘርግተን ከምናየው የአውራ ጣት ጥፍር ስፋት እምብዛም አይበልጥም። የቀረውን፣ ከግራ እስከ ቀኝ 180 ዲግሪ ገደማ የሚሰፋውን፣ የምናየው በጎን እይታ ነው። የጎን እይታ ጥቃቅን ፊደል አይለይም፤ እንቅስቃሴን ግን ፈጥኖ ያስታውቃል። ከመንገድ ዳር ሮጦ የሚገባ ሕፃን ወይም የደነበረ በግ ብዙውን ጊዜ አስቀድሞ የሚታየው በዚሁ ነው። በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና በ1 ሴኮንድ 17 ሜትር ያህል ስለሚሄድ፣ ጥቂት መዘግየት ሕይወት ሊያጠፋ ይችላል።

ግላኮማ የተባለው የዓይን በሽታ ብዙውን ጊዜ የሚጎዳው አስቀድሞ የጎን እይታን ነው። በሽተኛው ፊደሉን እንደ ወትሮው ስለሚያነብ ጉዳቱን ሳያውቅ ይቆያል። ስለዚህ የሾፌሮች ምርመራ የጎን እይታንም ሊለካ ይገባል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጣው መመሪያ፣ የግል መኪና ነጂ እይታ ወደ ጎን ቢያንስ 120 ዲግሪ እንዲሰፋ ደንግጓል።

ምርመራው ጊዜና ገንዘብ ይፈጃል የሚሉ ይኖሩ ይሆናል። ይሁን እንጂ ጎላ ያለውን ጉድለት መርማሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ጣቱን ከጎን በማንቀሳቀስ እንኳ ሊደርስበት ይችላል። ይህን ያህል ድካም ከአንድ እግረኛ ሕይወት ጋር ሊነጻጸር አይችልም።