ዋዛን እንደ ዋዛ

ዛሬ ትንሽ ልቆጣ ነው። ቡና የያዛችሁ ቡናችሁን ጨርሱና አንብቡ።

በቅርቡ እዚሁ አሶሳ «ታላቅ የሙዚቃ ኮንሰርት» ተብሎ ትኬት ተሸጠልን። ድምፃዊው ከአዲስ አበባ የመጣ ነው። ስሙን አልጠራም፣ አዘጋጆቹንም አልጠራም፤ እነሱ የመጀመሪያዎቹ አይደሉም፣ የመጨረሻዎቹም አይሆኑም። ገባን፣ ተጋፋን፣ ጠበቅን። ሰውየው ማይክ ይዞ ወጣ። ከጀርባው ጊታር የለም፣ ድራም የለም፣ ኦርጋን እንኳ የለም። አንድ ልጅ ላፕቶፕ ከፍቶ ተቀምጧል። ዘፈኑ ተጀመረ፤ ቤታችን በስልክ ስንሰማው የኖርነው ራሱ ነው፣ ትንፋሹ ሳይቀር። ሦስተኛው ዘፈን መሃል ላይ መብራት ሄደ። ሞንታርቦው ጸጥ አለ። ድምፃዊው ግን ለሁለት ሰኮንድ ያህል አፉን ማንቀሳቀሱን ቀጠለ። እኔ ከፊት ነበርኩ። ማይክ ቢጠፋም የሰው ጉሮሮ እኔ ጋ ይደርስ ነበር። ምንም አልደረሰም።

(የህዳሴው ግድብ ያለበት ጉባ በዚሁ ክልላችን ውስጥ ነው። 5,150 ሜጋ ዋት። መብራቱ አሶሳ ሲደርስ ለምን እንደሚደክመው ሌላ ቀን እንጫወታለን።)

ሰው ሳቀ፣ እኔም ሳቅኩ። ጀነሬተር ተነሳ፣ ዘፈኑ ካቆመበት ቀጠለ፣ ሰዉም ካቆመበት መጨፈሩን ቀጠለ። ያናደደኝ ይሄኛው ነው። ማንም «ገንዘቤን መልሱ» አላለም። ማንም እንደተታለለ አልቆጠረውም። ምክንያቱም በእኔ ዕድሜ ያለ የአሶሳ ልጅ ኮንሰርት ማለት ሌላ ምን ሊሆን እንደሚችል አያውቅም።

በዚያው ሰሞን ከከተማ ወጣ ብላ ባለች የበርታ መንደር ደግሞ ዋዛ ነበር። ለማታውቁት ልንገራችሁ። ዋዛ ከቅል የሚሠራ ረጅም መለከት ነው። ባለ አንገት ቅሎች አንዱ በሌላው ውስጥ እየተሰካኩ ይታሰራሉ። አጭሩ ክንድ ቢያህል፣ ረጅሙ የሰው ቁመት ያህላል። ዋናው ነገር ግን ይሄ ነው፦ እያንዳንዱ መለከት አንድ ድምፅ ብቻ ነው ያለው። አንድ። ዜማው የማንም አይደለም። አንተ ድምፅህን ትነፋለህ፣ ቀጣዩ የሱን፣ ሌላው የሱን፤ እየተቀባበሉ እየተጠላለፉ ሲሄዱ ዜማው ከሰዎቹ መሃል ይወጣል። ጎን ለጎን እንጨት በእንጨት እየመቱ ምቱን የሚይዙ አሉ። ሴቶቹ ይዘፍናሉ፣ ሰልፉ ይዞራል፣ አቧራው ይነሳል። መብራት ቢሄድም ባይሄድም የሚያውቅ የለም።

ከነፊዎቹ አንዱን፣ ጢማቸው የነጣ አዛውንት፣ «ሀጂ፣ ከእናንተ አንዱ ቢታመምስ?» ብዬ ጠየቅኳቸው። «ዜማው ጥርሱ ይወልቃል» አሉኝ። «እንግዲህ ጎረቤት መንደር ሄደን አፍ እንለምናለን።»

አፍ እንለምናለን! ላፕቶፑ ግን ማንንም አይለምንም።

አሁን «አንተ ሰፋሪ፣ ስለ ዋዛ ምን አገባህ?» የሚል እንደሚመጣ አውቃለሁ። ባለፈው ጽሑፌ ስርም መጥቶ ነበር። እውነት ነው፣ አባቴ ከወሎ የመጣው በ1977ቱ ድርቅ በልጅነቱ ነው፤ በቁጥር ከሚጠሩት የሰፈራ መንደሮች በአንዱ ነው ያደግኩት። እኔ ዋዛ መንፋት አልችልም። የኔ ጊታር ነው፣ እሱንም በደንብ አይደለም። ግን በልጅነቴ በመከር ጊዜ ማታ ማታ ከሩቅ ሲመጣ እየሰማሁ የተኛሁት ድምፅ ዋዛ ነው። ጆሮዬ እዚህ ነው የተሠራው። የጆሮን መታወቂያ ማን ነው የሚያትመው?

ወደ ጊታሩ ልምጣ። እኔ የምወደው ሙዚቃ ፓንክ ነው፣ በተለይ ጋራዥ የሚባለው ዓይነት። አትሳቁ። ስሙ የመጣው በስልሳዎቹ እ.ኤ.አ. የአሜሪካ ጎረምሶች በወላጆቻቸው የመኪና ማቆሚያ ውስጥ ርካሽ ጊታር እየጎተጎቱ ስለሚለማመዱ ነው። ሦስት ኮርድ፣ የተሰነጠቀ ድምፅ፣ ብዙ ጉልበት። ራሞንስ የሚባሉት የኒውዮርክ ልጆች በ1976 እ.ኤ.አ. ባወጡት የመጀመሪያ አልበም 14 ዘፈን ግማሽ ሰዓት በማይሞላ ጊዜ ጨርሰው ቤታቸው ገብተዋል። መልእክቱ ቀላል ነበር፦ ሙዚቃ ለመጫወት ፈቃድ የሚሰጥህ የለም፣ ስለዚህ አትጠብቅ።

እና ይሄን የፈረንጅ ጩኸት እንዴት ወደድከው ለምትሉኝ፣ ያስወደደኝ ፈረንጅ አይደለም። ጌታቸው መኩሪያ ነው።

ጌታቸውን የማያውቅ ካለ ይሄን ጽሑፍ እዚህ ያቁምና ሄዶ ይስማ። በማዘጋጃ ቤት ባንድ ጀምሮ፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትርና በፖሊስ ኦርኬስትራ ያለፈ ሳክስፎኒስት ነው። የአርበኞቹን ሽለላ ከጉሮሮ አንስቶ ሳክስፎን ላይ ያወጣ ሰው። ሲነፋ ይፎክራል፣ ያጓራል፣ ይቆጣል። ዲ ኤክስ የሚባሉት የሆላንድ ፓንኮች በ1979 እ.ኤ.አ. የተመሠረቱ፣ ባዶ ቤት ሰብረው እየገቡ ከሚኖሩ ወጣቶች እንቅስቃሴ ውስጥ የወጡ ናቸው። በ2002 እ.ኤ.አ. ሀገራችን መጥተው በየከተማው ተጫውተዋል። በ2004 ደግሞ 25ኛ ዓመታቸውን ሲያከብሩ ጌታቸውን አምስተርዳም ጋበዙት። የሰባ ዓመት ሽማግሌው እነዚያን ጊታር የሚደበድቡ ሰዎች ሰምቶ ጆሮውን አልያዘም። አጃቢዎቼ ሁኑና አልበም እንሥራ አላቸው። «ሞዓ አንበሳ» በ2006፣ «የአንበሳው ትዝታ» በ2012 እ.ኤ.አ. ወጡ። ጌታቸው በ2008 ዓ.ም. አረፈ።

ያንን ቅጂ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት በጓደኛዬ ስልክ፣ በተሰበረ ማዳመጫ፣ በአንድ ጆሮ ነው። ጊታሮቹ ይፋጫሉ፣ ድራሙ ይሮጣል፣ ከላይ ያ ሽለላ። እና ምን እንደመሰለኝ ታውቃላችሁ? ዋዛ። አቧራው፣ መጠላለፉ፣ ማንም ማንንም ሳይጠብቅ አንድ ላይ መድረሱ። የተጣራ ድምፅ የለም። ስህተቱ አብሮ ይሰማል። ሰው እዚያ ክፍል ውስጥ እንደነበረ ታውቃለህ።

«ጊታር የኛ አይደለም» የሚለውን ክርክር በዚሁ እንጨርሰው። ሳክስፎንስ የማን ነበር? አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪ በ1924 እ.ኤ.አ. ከኢየሩሳሌም አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆችን አምጥተው የነሐስ ባንድ ሲያቋቁሙ፣ ያ መለከት የኛ ነበር? የኛ ያደረግነው ነፍተነው ነው። ጃኖ ባንድ በሮክ ጊታር ሲመጣም ያው ማጉረምረም ነበር፤ አሁን ማን ያስታውሰዋል?

ወደ ዋናው ጠቤ ልግባ። ጠቤ ከፕሌይባክ ጋር ብቻ ቢሆን ኖሮ ይሄን ሁሉ አልጽፍም ነበር። ጠቤ ሙዚቃን የእንግዳ መቀበያ ካደረገው ልማድ ጋር ነው።

በ2007 ዓ.ም. ኅዳር 29 የብሔር ብሔረሰቦች ቀን በአሶሳ ተከበረ። ተማሪ ነበርኩ። ከተማዋ ስትጠረግ፣ ስትቀባ፣ ከመላ ሀገሪቱ እንግዳ ሲጎርፍ አይቼ ደረቴ ተነፍቶ ነበር፤ አልዋሽም። በርታው፣ ጉሙዙ፣ ሺናሻው፣ ማኦው፣ ኮሞው ሁሉም በአንድ ሜዳ። ግን ከዚያ ቀን ወዲህ አንድ ነገር እያየሁ ነው። ዋዛ የሚጠራው ባለሥልጣን ሲመጣ ነው። አውደ ጥናት ሲከፈት ነው። ሪባን ሲቆረጥ ነው። ነፊዎቹ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ፀሐይ ላይ ቆመው ይጠብቃሉ፤ መኪኖቹ በ5 ሰዓት ይመጣሉ፤ «በሁለት ደቂቃ ጨርሱ» ይባላሉ። ሌሊቱን ሙሉ የሚሄድ ሙዚቃ በሁለት ደቂቃ! ከዚያ ካሜራው ወደ ንግግሩ ይዞራል። ይሄንን ነው «ባህላችንን እያስተዋወቅን ነው» የምንለው። ለማን ነው የምናስተዋውቀው? የከተማው ልጅ ራሱ ዋዛን የሚያውቀው ከቴሌቪዥን ዜና ጀርባ ነው፣ ድምፁ ተቀንሶ፣ ዜና አንባቢዋ ከላይ እየተናገረች።

ስለዚህ አንድ የአሶሳ ወጣት ሁለት ምርጫ ቀርቦለታል። ወይ ባህል፣ ማለትም ዩኒፎርም ለብሶ ለእንግዳ ሁለት ደቂቃ፤ ወይ ዘመናዊ፣ ማለትም ላፕቶፕ። መሃሉ ባዶ ነው። ቅዳሜ ማታ አራት ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ገብተው፣ ተሳስተው፣ ተጣልተው፣ እንደገና ጀምረው ለሠላሳ ሰው የሚጫወቱበት ቦታ የለም። ሙዚቃ የሚወለደው ደግሞ እዚያ ክፍል ውስጥ ነው።

እኛ ሞክረን ነበር። አራት ነን። አንድ አዳራሽ ነበር፣ በሳምንት አምስት ቀን ተቆልፎ የሚውል። ማመልከቻ ጻፍን፣ ለሁለት ሰዓት ብቻ፣ በነፃ ለሚገባ ሰው። «የማን ሥር ናችሁ?» ተባልን። የማንም አልን። «እንግዲያው ማን ይጠየቅላችኋል?» እኛ አልን። ደብዳቤው ሄደ፣ ተመራ፣ ተመለሰ፣ ማኅተም ጎደለው ተባለ። በአራተኛው ወር ኃላፊው ተቀየሩ፤ አዲሱ ኃላፊ ከመጀመሪያው እንድንጀምር በትሕትና ነገሩን። በእውነት ትሑት ሰው ነበሩ። ሰውየውን አልወቅስም። ሠላሳ ሰው በራሱ ፈቃድ ተሰብስቦ ሙዚቃ መስማት እንደሚችል የሚያስብ ቅጽ እዚያ ጠረጴዛ ላይ አልነበረም።

አሁን ከባዱ ተቃውሞ። አንድ የማከብረው ወዳጄ እንዲህ አለኝ፦ «ወንድሜ፣ ከ2011 ጀምሮ በካማሺ፣ ከዚያ በመተከል ስንት ሰው አልቆ፣ ስንቱ ተፈናቅሎ፣ ከሱዳን በኩርሙክ ስንት ስደተኛ ገብቶ፣ አንተ ስለ ጊታር ታወራለህ?» ይሄኛው አስተኝቶኝ አያውቅም። ለቅሶ ያለበት ቤት አጠገብ ሞንታርቦ አይከፈትም፣ እኔም ያሳደጉኝ ሰዎች አሉ።

ግን «ጊዜው አይደለም» የሚባለው ጸጥታ መቼ ነው የሚያበቃው? የደርግን ዘመን አስታውሱ። የሰዓት እላፊው ለጥቂት ጊዜ ነው ተብሎ መጣና ከሥርዓቱ ጋር አብሮ ኖረ። አንዳንድ ባንዶች ሰዓቱ ሳይደርስ በሩን ዘግተው፣ ታዳሚውን እስከ ንጋት ውስጥ ይዘው ይጫወቱ ነበር። እነ ሮሃ፣ እነ ዋልያስ፣ እነ ዳህላክ እንደዚያ ነው የቆዩት። ሰዓት እላፊው ሲነሳ ግን መለከት ነፊዎቹ የነበሩበት ቦታ ላይ ኦርጋን ተቀምጦ ነበር። አንድ ሰው አሥር ሰው ሆኖ መጫወት ይችላል፣ ለምን አሥር ሰው ይከፈላል? ጸጥታው ሲያልፍ ልማዱ ቀረ። እኛም የምንፈራው ያንኑ ነው።

ደግሞስ ከኩርሙክ የገቡት ሰዎች እነማን ናቸው? ብዙዎቹ ድንበሩ ከመሰመሩ በፊት ከዚሁ ሕዝብ ጋር አንድ የነበሩ ናቸው። ዋዛ በዚያም በኩል ይነፋል። አፍ የጎደለው ሰልፍ እዚህ ካለ፣ አፍ ያለው ሰው እዚያ ካምፕ ውስጥ ተቀምጧል። ሀጂ ሊለምኑት የሚሄዱት ጎረቤት እሱ ነው። በእርዳታ ስንዴው ላይ ይሄንን የሚያስብ ሰው አላየሁም።

እና እኔ የምለው ይሄ ነው። በጀት አልጠየቅኩም። ፌስቲቫልም አትሥሩልኝ፣ ፌስቲቫል ስትሠሩ ቲሸርት ታሳትማላችሁ፣ ገንዘቡም እዚያ ያልቃል። የተቆለፈውን አዳራሽ በወር አንድ ቅዳሜ ክፈቱት። ዋዛ ስትጠሩ ሙሉ ሌሊቱን ጥሩት፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ፣ ለሕዝቡ፤ ለነፊዎቹም ለድምፃዊው ከምትከፍሉት እኩል ባይሆን እንኳ የሚያስተዛዝብ አይሁን። ትኬት የምትሸጡ ደግሞ ትኬቱ ላይ ጻፉበት፦ «ድምፃዊው አይዘፍንም፣ ይጨፍራል።» የሚፈልግ ይግባ፣ ማንም አይከለክለውም።

አዳራሹ እስኪከፈት እኛ ጋራዥ አግኝተናል። እውነተኛ ጋራዥ፣ ባጃጅ የሚጠገንበት። ባለቤቱ የባንዱ ድራመር አጎት ናቸው፤ «ደንበኛ እንዳታባርሩብኝ» ብለው ፈቅደውልናል። ቅዳሜ ከቀኑ 10 ሰዓት፣ ሥራ ሲያልቅ። ዘይቱ ልብስ ያበላሻል፣ ነጭ ለብሳችሁ አትምጡ። ድራሙ አንድ ሲምባል ብቻ ነው ያለው፣ ሁለተኛው የአሮጌ ቶዮታ የጎማ ክዳን ነው፣ ከእውነተኛው በላይ ይጮኻል። ከሀጂ መንደር ሁለት ልጆች ዋዛቸውን ይዘው እንመጣለን ብለዋል፤ ሁለት ድምፅ ማለት ነው፣ የቀረውን በጊታር እንሞክራለን። መብራት ከሄደ የነሱ ተራ ይሆናል። ቤቱ ተቀምጦ አቧራ የሚጠጣ አምፕሊፋየር ወይም የጊታር ገመድ ያለው ሰው በውስጥ መስመር ይጻፍልኝ፤ የኛ ገመድ በሦስት ቦታ በፕላስተር ነው የቆመው።