በላይ በላዩ ሲሆን

የልጅ ልጄ ታናሽ ወንድሟ ሲወለድ ገና ዓመት ከአራት ወሯ ነበር። የአራስ ጠያቂው ብዙ ነው፤ የገንፎው ድስት ከእሳት አይወርድም። እሷ ግን የእናቷን ቀሚስ ጨብጣ አልለቅም አለች። እኔ አያቷ «አንቺ እኮ ትልቅ ሆነሻል» ብዬ እጇን አላቅቄ ወደ ጓሮ አወጣኋት። በዚያው ሰሞን አባቷ ለሥራ ወደ ክፍለ ሀገር ሄደ፤ የለመደቻት ሞግዚትም ወጣች። ሁላችንም «ልጅ ነች፣ ትረሳዋለች» አልን።

ይህን ያስታወሰኝ ስለ ዝንጀሮዎች ያነበብኩት ነገር ነው። ኬንያ ውስጥ አምቦሴሊ በተባለ ስፍራ ተመራማሪዎች ከ1971 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የዱር ዝንጀሮዎችን ከውልደት እስከ ሞት ይከታተላሉ። በ2016 የ196 እንስቶችን ሕይወት መርምረው በሕፃንነት የሚገጥሙ ስድስት ችግሮችን ቆጠሩ፤ ድርቅ፣ የእናት ሞት፣ እናት በመንጋው ውስጥ ዝቅ ብላ መታየቷ፣ የእናት ብቸኝነት፣ የመንጋው መብዛት፣ እንዲሁም ዓመት ተኩል ሳይሞላ ታናሽ መከተሉ።

የመጨረሻውን ሳነብ ደነገጥኩ።

ሦስትና ከዚያ በላይ የተደራረበባቸው እንስቶች፣ ምንም ካልገጠማቸው ወይም አንድ ብቻ ከገጠማቸው አሥር ዓመት ያህል ቀድመው ይሞታሉ። ዝንጀሮ አያጨስም፣ አይጠጣም፣ የተሻለ ሐኪም ቤት የሚሄድ ሀብታምም የለውም። ቢሆንም የሕፃንነት ችግር እስከ ጉልምስና ተከትሏቸዋል።

ልጅ ዝንጀሮ አይደለም። እኔ የወሰድኩት ስሌቱን ነው፤ የሚከብደው አንዱ ችግር ሳይሆን መደራረቡ ነው። ስለዚህ ከሦስቱ አንዱን ማንሳት ትልቅ ነገር ነው። በ2023 የወጣው ሌላ ጥናትም፣ ካደጉ በኋላ የቅርብ ወዳጅ ያላቸው እንስቶች፣ ልጅነታቸው የከበደም ቢሆን፣ ከብቸኞቹ የተሻለ ዕድሜ እንደሚኖሩ አሳይቷል። መጠጋጋት መቼም አይረፍድም ማለት ነው።

ያኔ የልደቱን ቀን ማራቅ፣ የአባቷንም ሥራ ማስቀረት አልችልም ነበር። ጉልበቴ ግን የእኔ ነበር፤ ላስቀምጣት እችል ነበር።

አሁን ልጄ ሦስተኛዋን ልትወልድ ቀናት ቀርተዋታል። ታናሹ ሁለት ዓመት አልሞላውም። ለእህቶቼ ነግሬያለሁ፤ በዚህኛው አራስ ቤት ገንፎውን ሌላ ሰው ያገንፋ፣ ጠያቂውንም ሌላ ሰው ይቀበል። እኔ ከሁለቱ ልጆች ጋር ከአራሷ አልጋ ሥር እቀመጣለሁ። ቀሚሷን መያዝ የፈለገ ይያዝ።