ለአደንና ለአስቸጋሪ አገር የሚመረጥ መኪና

ለአደን፣ ለዱር እንስሳት ጥበቃና ለመስክ ጥናት የሚውል ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና በሚሄድበት አገር አፈርና ከፍታ፣ በሚሸከመው ጭነት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ በተበላሸበት ቦታ ሊጠገን በመቻሉ ተመዝኖ መመረጥ አለበት። ይህ መመዘኛ ቀላል ቢመስልም በኢትዮጵያ የመኪና ግዢ ልማድ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነው። ገዢው አስቀድሞ የሚመለከተው መኪናው በከተማ የሚያሰጠውን ክብር፣ የውስጥ ምቾቱንና የሲሊንደሩን ብዛት ሲሆን፣ ከጎባ ወይም ከጂንካ ባሻገር ሰው በሌለበት ጫካ ውስጥ ቢቆም ማን በምን መሣሪያ እንደሚያስነሳው የሚያስበው፣ ካሰበም፣ በመጨረሻ ነው። ይህ ቅደም ተከተል መገልበጥ አለበት።

ምርጫው ከመሬቱ ይጀምራል፤ ለዚህም የባሌ ተራሮች በቂ ማስረጃ ናቸው። ከጎባ ተነስቶ ወደ ደሎ መና የሚያመራው መንገድ አስቀድሞ ከባሕር ወለል በላይ ከ4,000 ሜትር ወደሚበልጠው የሳነቴ አምባ ይወጣል፤ 4,377 ሜትር ከፍታ ያለውን ቱሉ ዲምቱን አልፎም ወደ ጥቅጥቁ የሐረና ደን ይወርድና ሙቀቱ ወደሚበረታው ቆላ ይደርሳል። በዚህም የተነሳ አንድ መኪና በአንድ ቀን ውስጥ አየር በሳሳበት ውርጭ፣ ዝናብ ባራሰው የደን ጭቃና በሞቃት ቆላ እንዲሠራ ይገደዳል። በዓለም ላይ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኘው የደጋ አጋዘን የሚኖረው በእነዚሁ የባሌና የአርሲ ተራሮች ሲሆን፣ ቁጥጥር የሚደረግባቸው የአደን ቀበሌዎችም በዚያው አካባቢ ይገኛሉ። ወደ ታችኛው ኦሞ ሸለቆ የሚወርድ ሰው ደግሞ የሚገጥመው ፈተና ሌላ ነው፤ በበጋ ደርቆ የሚሰነጣጠቀው ጥቁር የዋልካ አፈር ዝናብ ሲነካው አብጦ ከጎማው ጥርስ መካከል ይሞላል፣ ጎማውም መያዣ አጥቶ እየተሽከረከረ ራሱን ይቀብራል። በአፋር ዝቅተኛ ቦታዎች አሸዋው፣ ስለታሙ የእሳተ ገሞራ ድንጋይና ሞተርን የሚፈትነው ሙቀት ይጨመራሉ። ለእነዚህ ሁሉ እኩል የሚመች መኪና ስለሌለ፣ ገዢው መኪናው አብዛኛውን ጊዜውን የት እንደሚያሳልፍ አስቀድሞ መወሰን ይገባዋል።

ከፍታ በሞተር ላይ የሚያደርሰው ጫና ብዙ ገዢዎች የማያስቡት ነገር ነው። ነዳጅ የሚቃጠለው ከኦክስጅን ጋር ተገናኝቶ በመሆኑ፣ አየሩ በሳሳ ቁጥር ሞተሩ የሚያገኘው ኦክስጅን ይቀንሳል፤ በ4,000 ሜትር ላይ የአየር እፍጋት በባሕር ወለል ካለው በአንድ ሦስተኛ ገደማ ስለሚያንስ፣ አየርን ያለ አጋዥ የሚስብ ሞተር ጉልበቱን በዚያው መጠን ገደማ ያጣል። ተርቦ የተገጠመለት፣ ማለትም በራሱ ጭስ ግፊት በሚሽከረከር ማራገቢያ አየርን አምቆ ወደ ሲሊንደር የሚያስገባ ሞተር፣ የጉድለቱን አብዛኛውን ክፍል ይተካል። ከዚህ ተነስቶ ለደጋ አገር ተርቦ የግድ ነው ብሎ መደምደም ግን ስሕተት ነው። በአስቸጋሪ መንገድ ላይ የሚፈለገው ጎማን በዝግታ ነገር ግን ሳያቋርጥ የሚያዞር ጉልበት ሲሆን፣ ይህንን ደግሞ ትክክለኛ ማርሽ ያስገኘዋል።

ባለ አራት ጎማ ነጂ መኪና የሞተሩን ኃይል ለኋላና ለፊት ጎማዎች የሚያዳርሰው ከካምቢዮው ጋር በተያያዘ ማከፋፈያ ሳጥን አማካይነት ነው። ለከተማ የሚሠሩ ብዙ ዘመናዊ መኪኖች አራቱንም ጎማ ቢነዱም በማከፋፈያቸው ውስጥ ዝቅተኛ ማርሽ የላቸውም። ዝቅተኛ ማርሽ የጎማውን አዟዟር ከተለመደው ከሁለት እጥፍ በላይ በማዝገም ጉልበቱን በዚያው ልክ የሚያበዛ በመሆኑ፣ መኪናው በጭነት ዳገት ሲወጣ ፍሪሲዮኑ እንዳይቃጠል፣ ቁልቁለት ሲወርድም ሞተሩ ራሱ እንዲይዘውና ፍሬኑ እንዳይግል ያደርጋል። ሁለተኛው ወሳኝ ነገር የዲፈረንሻል መቆለፊያ ነው። ዲፈረንሻል ግራና ቀኝ ጎማዎች በመታጠፊያ ላይ በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ የሚፈቅድ የጥርሶች ስብስብ ሲሆን፣ አንዱ ጎማ ማጥ ውስጥ ሲገባ ወይም አየር ላይ ሲንጠለጠል ግን ያ ጎማ በከንቱ ይሽከረከራል፣ መሬት የያዘው ደግሞ ሳይንቀሳቀስ ይቀራል። መቆለፊያው ሁለቱ ጎማዎች እኩል እንዲዞሩ ስለሚያስገድድ መሬት የያዘው ጎማ መኪናውን ይጎትተዋል። ለዋልካ አፈርና ለቦረቦር የሚሆን መኪና የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን በትልቅ ሞተር ላይ ከማዋሉ በፊት እነዚህ ሁለቱ መኖራቸውን ማረጋገጥ አለበት።

የመኪናው አጥንትም ሊመረመር ይገባል። አካሉ ከተለየ የብረት ሻንሲ ላይ የተቀመጠ መኪና መንገዱ የሚያደርስበትን ጠምዛዛ ጫና በሻንሲው ስለሚሸከም በኮረኮንች ላይ ዕድሜው ይረዝማል፤ ቢሰነጠቅም በየከተማው ያለ በያጅ ሊጠግነው ይችላል። ግራና ቀኝ ጎማን በአንድ ወጥ የብረት አካል የሚያገናኘው ድፍን አክስል አንዱ ጎማ ሲነሳ ሌላውን ወደ መሬት የሚጫን በመሆኑ ለድንጋያማና ለተቆራረጠ መሬት ይመረጣል። እያንዳንዱ ጎማ ለብቻው የሚወዛወዝበት አሠራር በአስፋልትና በፒስታ መንገድ ላይ ይበልጥ ቢመችም መገጣጠሚያዎቹ ብዙ ስለሆኑ ለብልሽት የተጋለጡ ናቸው። ከኋላ የሚገጠመው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርቦ የታሰረው የብረት ምላስ፣ መቀመጫውን ቢያጠነክርም ከባድ ጭነት ይችላል፤ አንድ ምላስ ቢሰበርም በሌላ ተተክቶ ጉዞው ይቀጥላል።

የሞተር ምርጫ ከጥገና ተለይቶ ሊታይ አይችልም፤ የጉዳዩ ዋና ክብደትም እዚህ ላይ ነው። ዘመናዊ የናፍጣ ሞተሮች ነዳጁን ወደ ሲሊንደር የሚረጩት ከ1,500 ባር ሊበልጥ በሚችል ግፊትና በኮምፒውተር ትእዛዝ ሲሆን፣ ይህም ነዳጅ ይቆጥባል፣ ጭስ ይቀንሳል፣ ጉልበትም ይጨምራል። ይሁን እንጂ የመርጫዎቹ ቀዳዳ እጅግ ጠባብ ስለሆነ ጥቂት ውሃ ወይም ደቃቅ አቧራ ሊያበላሻቸው ይችላል፤ ከዋና ማደያዎች በራቁ ቦታዎች ደግሞ ናፍጣ ከበርሜል በጀሪካን እየተቀዳ ስለሚሸጥ ንጽሕናው አስተማማኝ አይደለም። እንዲህ ያለው ሞተር ሲታመም የሚመረምረው ኮምፒውተር የያዘ ባለሙያ ሲሆን፣ ባለሙያው ያለው በአዲስ አበባ ወይም በጥቂት ትልልቅ ከተሞች ነው። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራው አሮጌው ዓይነት የናፍጣ ሞተር በአንጻሩ ጉልበቱ ቢያንስም፣ ነዳጅ፣ አየርና የማቀዝቀዣ ውሃ እስካገኘ ድረስ ይሠራል፤ ብልሽቱም በአብዛኛው በዓይን የሚታይ፣ በመፍቻም የሚደረስበት ነው። በሮቤ ወይም በአርባ ምንጭ ያለ መካኒክ የሚያውቀው ሞተር፣ መለዋወጫውም በቅርብ የሚገኝ ከሆነ፣ ማንም ከማያውቀው የላቀ ሞተር ይበልጣል።

በዚህ መመዘኛ ሲታይ ስመ ጥር የሆኑት መኪኖች ልዩነት ግልጽ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1948 በአምስተርዳም የመኪና ትርኢት ላይ ለሕዝብ የቀረበው ላንድሮቨር፣ የአሉሚኒየም ቅይጥ አካሉና ቀላል አሠራሩ ለብዙ አሥርት ዓመታት የአፍሪካ የመስክ ሥራ መለያ አድርገውታል። እ.ኤ.አ. በ1990 ዲፌንደር የተባለው ይኸው ዝርያ ምርቱ እ.ኤ.አ. በጥር 2016 ስለቆመ፣ ዛሬ የሚገዛው ሰው አሮጌ መኪና እንደሚገዛ ማወቅ አለበት። እ.ኤ.አ. በ2019 የተዋወቀው አዲሱ ዲፌንደር እስከ 90 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ ለመሻገር የተሠራ ብቁ መኪና ቢሆንም፣ የተለየ ሻንሲ የሌለውና በኤሌክትሮኒክስ ላይ የተመሠረተ በመሆኑ ከትልልቅ ጋራዦች ለሚርቅ ሰው አይመከርም። በከተማ ቪኤይት እየተባለ የሚታወቀው ትልቁ ላንድክሩዘርም በረጅም መንገድ ምቾቱና ፍጥነቱ የሚመሰገን ቢሆንም፣ ክብደቱ በጭቃ ላይ፣ ዋጋው ደግሞ ቅርንጫፍ ሲቧጭረውና ድንጋይ ሲነካው ሸክም ይሆናል። ሱዙኪ ጂምኒ ትንሽ ቢሆንም ሻንሲ፣ ድፍን አክስልና ዝቅተኛ ማርሽ ያለው ሲሆን፣ ቀላልነቱ ከባድ መኪኖች የሚሰምጡበትን መሬት ያሻግረዋል፤ ጉድለቱ ሰውና ዕቃ አብሮ የመሸከም አቅሙ አነስተኛ መሆኑ ነው። ደብል ጋቢናው ሃይሉክስ መለዋወጫው በየቦታው የሚገኝ በመሆኑ፣ ጉዞው በአብዛኛው በፒስታ መንገድ ለሆነ ሰው ትክክለኛ ምርጫ ነው።

ለጭነት፣ ለርቀትና ለክፉ መንገድ አንድ ላይ የሚመረጠው ግን እ.ኤ.አ. በ1984 የተዋወቀው የላንድክሩዘር 70 ዝርያ ነው። ከእነዚህም መካከል 4.2 ሊትር፣ ስድስት ሲሊንደርና ተርቦ አልባ የሆነውን ዋን ኤችዜድ የተባለውን የናፍጣ ሞተር የያዘው ሀርድቶፕ ወይም ፒክአፕ ቀዳሚ ነው። የዚህ ሞተር ጉልበት 130 የፈረስ ጉልበት ገደማ ብቻ ስለሆነ በሳነቴ ዳገት ላይ ያዘግማል፣ ድምፁ ይበዛል፣ መቀመጫውም ያንገላታል፤ እነዚህ እውነተኛ ጉድለቶች ናቸው። ሆኖም ድፍን አክስሉ፣ ዝቅተኛ ማርሹ፣ አንድ ቶን ያህል የመሸከም አቅሙና በርካታ መካኒኮች የሚያውቁት ሞተሩ በአንድ መኪና ላይ ተገናኝተው ሲገኙ ጉድለቱን ያካክሳሉ። ዘግይቶ መድረስ ጨርሶ ካለመድረስ ይሻላል።

የትኛውም መኪና ከጎማው አይበልጥም። ባለ 16 ኢንች ቸርኬ ጠባብና ረጅም ጎማ ከመነዳሪ ያለው ከሆነ በየመንገዱ ያለ ጎሚስታ ይለጥፈዋል፤ ለውበት የሚገጠመው ትልቅ ቸርኬና አጭር ግድግዳ ያለው ጎማ ግን በመጀመሪያው ስለታም ድንጋይ ይቀደዳል። በአሸዋና በለስላሳ መሬት ላይ የጎማውን ነፋስ ወደ 20 ፒኤስአይ ገደማ መቀነስ መሬት የሚይዘውን ክፍል አስረዝሞ መስመጥን ይከላከላል፤ ወደ ጠንካራ መንገድ ሲመለሱ ጎማው ግሎ እንዳይፈነዳ መልሶ መንፋት ስለሚያስፈልግ በባትሪ የሚሠራ መንፊያ መያዝ ግዴታ ነው። ሁለት ስኮርት ጎማ፣ በጭቃ ላይ ከክሪክ ሥር የሚነጠፍ ጣውላ፣ አካፋ፣ ጠንካራ መጎተቻና ትርፍ የናፍጣ ፊልትሮ ከማንኛውም ጌጥ በፊት ሊገዙ ይገባል። ወንዱ የደጋ አጋዘን እስከ 300 ኪሎ ግራም ሊመዝን ስለሚችል በጉዞው መጨረሻ የሚጨመረው ክብደት ከመነሻው ሊታሰብ ይገባል፤ ከባዱ ዕቃ ጣራ ላይ ሲሰቀል መኪናውን በጎን ዳገት ላይ ለመገልበጥ ስለሚያጋልጠው ቦታው ወለሉ ላይ ነው። ሰው ወደማይደርስበት ቦታ ደግሞ በአንድ መኪና ብቻ አለመሄድ ከሁሉም መሣሪያ የሚበልጥ ጥንቃቄ ነው።

መኪናው የት መቆም እንዳለበት ማወቅም የምርጫው አካል ነው። በኢትዮጵያ አደን በሕግ መሠረት በፈቃድ ብቻ የሚካሄድ ሲሆን፣ በሕጋዊ አደንም ቢሆን መኪና የሚያገለግለው ሰውን፣ ስንቅንና ሥጋን ለማጓጓዝ እንጂ እንስሳን ለማሳደድ መሆን የለበትም። በእግሩ ተከታትሎ፣ ዕድሜውንና ጾታውን ለይቶ የሚተኩስ አዳኝ ለእንስሳው የማምለጥ ዕድል ይሰጠዋል፤ በመኪና የሚያሳድድ ግን ይህን ዕድል ይነፍገዋል። በሳነቴ አምባ ላይ ከመንገድ የሚወጣ ጎማ ቀስ ብሎ የሚያድገውን የውርጭ አገር ዕፅዋት ይጨፈልቃል፣ ቀይ ቀበሮ የምትመገበው ፍልፈል የሚኖርበትን ጉድጓድም ይደፍናል። በጠቅላላው ቁጥራቸው ከጥቂት መቶዎች የማይበልጠው ቀይ ቀበሮዎች በዚያው መንገድ ላይ በመኪና ተገጭተው የሞቱበት ጊዜም አለ። ስለዚህ በዚያ ከፍታ ላይ የመኪናው ዝግታ እንደ ጉድለት ሊቆጠር አይገባም።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መወሰኑ የወደፊቱ የመስክ መኪና ኤሌክትሪክ ይሆን እንደሆነ ያስጠይቃል። የኤሌክትሪክ ሞተር ከፍታ ጉልበቱን አይቀንሰውም፣ ገና ከመነሻው ሙሉ ጉልበቱን ይሰጣል፣ ድምፁም እንስሳትን አይረብሽም፤ በእነዚህ ሦስት ነገሮች ከናፍጣ ይበልጣል። ነገር ግን ኃይል መሙያ በሌለበት የሐረና ደን ወይም የኦሞ ሸለቆ ውስጥ ባትሪው ያለቀበት መኪና በጀሪካን አይታደጉትም። መሠረተ ልማቱ እስኪደርስ ድረስ ለሩቅ መስክ የናፍጣ ሞተር ቦታውን አይለቅም።

ለፓርኮች፣ ለጥናት ቡድኖችና ለአደን ድርጅቶች መኪና የሚገዙ ኃላፊዎች የግዢ ሰነዳቸውን ሲያዘጋጁ ከመኪናው ዋጋ ጎን ለጎን የአምስት ዓመት መለዋወጫን፣ ለሾፌሩ የሚሰጥ የጭቃና የአሸዋ አነዳድ ሥልጠናን፣ እንዲሁም መኪናው በሚሠራበት ወረዳ ያለውን መካኒክ አስተያየት እንዲያካትቱ ይጠየቃሉ። ለአንድ ውድ መኪና በሚወጣ ገንዘብ ሁለት ቀላልና ጠንካራ መኪኖች መግዛት ከተቻለ ሁለቱን መግዛት ይሻላል፤ አንዱ ሲሰምጥ ሌላው ይጎትተዋልና።